«መስከረም ጠባ» ሲባል ምን ጠባ? የጥቢ ቃላት ውይይት

የአዳማዋ፦
እንኳን አደረሳችሁ! «መስከረም ሲጠባ» እንላለን። ቃሉ ከየት መጣ? ጓደኛዬ «ጡት ከመጥባት ነው፤ ምድር የክረምቱን ዝናብ ስለጠባች ነው» አለችኝ። እውነት ነው? በዚያው ደግሞ፣ መስከረም ጸደይ ነው ወይስ መጸው?

የዳሞቱ፦
እንኳን አብሮ አደረሰን እህቴ። የጓደኛሽ አባባል ደስ ይላል፤ ቃሉ ግን ሌላ ነው። የግእዙ «ጸብሐ» ነው፤ ነጋ ማለት ነው። «ጽባሕ» የሚለውን ታውቂዋለሽ። ግእዝ በ«ጸ» የሚጠራውን አማርኛ ብዙ ጊዜ በ«ጠ» ይለዋል፦ ጸጉር ጠጉር ሆነ፣ ጽሕም ጢም ሆነ፣ ጸበበም ጠበበ ሆነ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ሐ» ትወድቃለች። ጸብሐ በዚህ መንገድ ጠባ ሆነ። ጡት የሚጠባው «ጠባ» ግን ከ«ጠበወ» ነው የመጣው። ሁለቱ አማርኛ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ገጠመ እንጂ ዝምድና የላቸውም። ስለዚህ መስከረም ጠባ ማለት ዓመቱ ነጋ ማለት ነው።

ገጠር ለከረመ ሰው ይህ ትርጉም ግልጽ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ይደፈናል። ጉሙ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። ወንዝ ሞልቶ ገበያ ይቋረጣል። እንጨቱ እርጥብ ስለሆነ ቤቱ በጭስ ይታጠናል። ከዚያ አንድ ቀን ፀሐይ ወጥታ አጥሩ ሥር ያለው አደይ ሲፈነዳ፣ በእርግጥም ነግቷል። «ጥቢ» የምንለውም የዚሁ የጠባ ቤተሰብ ነው። በእኛ አገር ሽማግሌዎች ጸደይም መጸውም ብዙ አይሉም። «ለጥቢ እከፍልሃለሁ» ነው የሚሉት፤ እህል ሊቀመስ ነውና።

ስለ ወቅቱ ስም፣ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25። ቀጥሎ በጋ እስከ መጋቢት 25፤ ጸደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25። እንግዲህ ዘመን መለወጫም መስቀልም የሚውሉት ገና በክረምቱ ውስጥ ነው! አበባ ስላየን ጸደይ እንላለን እንጂ፣ በዚህ አቆጣጠር ጸደይ የበልግ ጊዜ ነው። እኔን ብትጠይቂኝ «ጥቢ» ብትይ ይሻላል። አጭር ነው፣ የራሳችን ነው፣ ማንንም አያሳስትም። መጥፋቱ በጣም ይቆጨኛል።

የቢቸናው፦
ክረምቱ ገና አልወጣም ያልከው ልክ ነው። የእኛ ጥቁር አፈር ምስክር ነው። ስለ እሱ ካነሣን «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለውን ልጨምር። የከተማ ሰው «ከመጥፎ ወደ ባሰ» ብሎ ያልፈዋል። ድጥ የሚያዳልጥ ጭቃ ነው። ብትወድቅበት ልብስህ ይበላሻል፣ ተነሥተህ ትሄዳለህ። ማጥ ግን ይውጣል። በሬ ከገባበት ጎረቤት ተጠራርቶ በገመድ ይጎትተዋል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ከድጥ ሰው ብቻውን ይነሣል፤ ከማጥ ለመውጣት ሌላ ሰው ያስፈልጋል። አባባሉን ስትጠቀሙ ይህን አስቡት።

የዳሞቱ፦
ተባረክ። «ከረመ»ም እንዲሁ ነው። ዛሬ ለጥቂት ጊዜ ያላየነውን ሁሉ «እንዴት ከረምክ» እንላለን። ሥሩ ክረምትን ማሳለፍ ነው። ወንዝ ማዶ ያለ ዘመድ ክረምቱን ሙሉ አይታይም። መስከረም ላይ ውኃው ሲጎድል ነው የሚመጣው። «እንዴት ከረማችሁ» ሲል ከብቱን፣ ጣሪያውን፣ የታመመውን ሁሉ እየጠየቀ ነው። «ከርሞ ጥጃ» የሚለው ስድብም ከዚያው ነው። ክረምት ሣር የሚትረፈረፍበት፣ ላም የምትጠግብበት ጊዜ ነው። ያን ሁሉ ከርሞ አሁንም ጥጃ የሆነ መቼ ሊያድግ ነው? የሚያመውም ለዚህ ነው።

የሐይቋ፦
እሸትንስ ለምን ዘለላችሁት? ያለ እሸት መስከረም የለም። «እሸት የመጣው ከማሸት ነው፣ በመዳፍ ስለሚታሽ» የሚሉ አሉ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

የዳሞቱ፦
አልዘለልኩትም፤ የምወደውን አቆይቼው ነው። ግእዝ የእህልን ዛላ «ሠዊት» ይለዋል። እሸት የሚዛመደው ከእሱ ጋር ነው። ከማሸት ጋር የሚያገናኙት ግን ምክንያት አላቸው። ሉቃስ ምዕራፍ 6 ላይ ደቀ መዛሙርቱ እሸት ቀጥፈው በእጃቸው እያሹ ሲበሉ እናገኛቸዋለን። የገብስ እሸት ዛሬም እንዲሁ ነው፦ በእሳት ይለበለባል፣ በመዳፍ ይታሻል፣ ገለባው በትንፋሽ ይባረራል።

እህል በየደረጃው ቃል አለው። መጀመሪያ ዛላ ያወጣል። ፍሬው ወተት ይቋጥራል። ጠንከር ብሎ ግን ገና አረንጓዴ ሳለ «አሸተ» ይባላል። ወደ ቢጫ ሲያደላ «ጎመራ»። ደርቆ ማጭድ ሲጠብቅ «ደረሰ»። አንድ ገበሬ «ማሳህ እንዴት ነው?» ሲባል «አሽቷል» ብሎ ከመለሰ፣ በዚያች ቃል ምን ያህል ቀን እንደቀረው፣ ልጆቹ መቅመስ መጀመራቸውን፣ ውርጭና በረዶ ገና እንደሚያሰጋው ሁሉ ነግሮሃል።

ቀድሞ የሚያሸተው የጓሮ በቆሎ ነው። ጓሮ ለቤት ቅርብ ስለሆነ አመዱም ፍጉም እዚያ ይደፋል፤ አፈሩ ይወፍራል። ዋናው ማሳ ላይ ጤፉ ገና እየታረመ ነው። ጎተራው ደግሞ የሚራቆተው በዚሁ ሰሞን ነው። ክረምቱን እናት እፍኝ እየቆጠረች ነው ያሳለፈችው። ስለዚህ የመጀመሪያው እሸት ቤቱን ከጭንቅ ያወጣል። ለልጅ «እሸቱ»፣ «እሸቴ» የሚል ስም የሚወጣው ከዚህ ደስታ ይመስለኛል። ባቄላና አተር ይከተላሉ። እረኛ ወይም መንገደኛ ከማሳ ዳር ቀጥፎ ቢበላ በእኛ ዘንድ ነውር የለበትም። በቁና ሞልቶ ቢሄድ ግን ሌባ ነው።

የሐይቋ፦
በእኛ ቆላ ማሽላው የሚያሸተው ዘግይቶ ነው። እስከዚያ ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ በወንጭፍ ይጠብቃል። «ማሽላ እያረረ ይስቃል» የሚባለውም ምጣድ ላይ ሲፈነዳ ነጩ ስለሚታይ ነው፤ ጥርስ ይመስላል። ውስጡ እየተቃጠለ ለሚስቅ ሰው ይነገራል።

የአዳማዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ብቻ ልጨምር፦ ገብሱ «በሰለ» ብል ስህተት ነው?

የቢቸናው፦
ማሳ ላይ ላለ ገብስ «ደረሰ» በይ። «በሰለ» ካልሽ ሰሚው ድስቱን ነው የሚያስበው። ማንጎና ሙዝ ይበስላሉ። «ጎመራ» ግን ለእህልም ለፍራፍሬም ይሆናል፣ መልኩን ሲቀይር።