ኦርኪዴ ቅጠሉ ለምለም ነው፣ አበባ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የለም። ምን በደልኩት?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ፋሌኖፕሲስ አለኝ፣ ያው ቢራቢሮ የሚመስል አበባ ያለው፣ በየቤቱ የሚታየው ዓይነት። በስጦታ ሲመጣልኝ ዘጠኝ ነጭ አበባ ነበረው። ሦስት ወር ገደማ ቆየና አንድ በአንድ ረገፈ። ዘንጉም ደረቀ፣ ከሥሩ ቆረጥኩት። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ምንም የለም።

የሚገርመው ግን አልታመመም። ቅጠሉ ወፍራም ነው፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ያብረቀርቃል። ዘንድሮ ብቻ ሁለት አዲስ ቅጠል አውጥቷል። ሰው ሲመጣ "እንዴት ያምራል!" ይለኛል፣ ቅጠል ለማየትማ ሣር ብተክልም ይበቃኝ ነበር።

የማስቀምጠው ሳሎን ውስጥ የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ነው። ከመስኮቱ ሦስት ሜትር ያህል ይርቃል። ማሞቂያው ከመደርደሪያው ሥር ነው፣ ብርድ እንዳይመታው ብዬ ሆን ብዬ ነው እዚያ ያደረግኩት። ቤቱ ቀንም ሌሊትም 24 ዲግሪ ነው። ውሃ በሳምንት አንዴ፣ ማዳበሪያ በወር አንዴ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከቅጠሎቹ መሃል አንድ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል። ሥር ይሁን የአበባ ዘንግ አልለየሁትም። ብርዱ እየገባ ነው፣ ኦርኪድ ደግሞ በብርድ ወራት ያብባል ሲባል ሰምቻለሁ። ምን ላድርግ?

የመስኮት ዳር፦

መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል እህቴ። ማሞቂያው ነው።

ፋሌኖፕሲስ ዘንግ እንዲያወጣ የሚቀሰቅሰው የቀኑ ማጠር አይደለም፣ ቅዝቃዜ ነው። ሙቀቱ 28 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከቀጠለ ቅጠል ማውጣቱን ብቻ ይቀጥላል። በንግድ የሚያሳድጉት ሰዎች የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው፣ መጀመሪያ በሙቀት ቅጠሉን ያፋፉታል፣ ከዚያ ገበያው ሲደርስ ቤቱን ወደ 20 ዲግሪ አካባቢ ያወርዱና ሁሉንም በአንድ ጊዜ ዘንግ ያስወጡታል። አንቺ የመጀመሪያውን ግማሽ ነው እየሠራሽ ያለሽው፣ በደንብ አድርገሽ።

"ቤቱ 24 ነው" ብለሻል። የትኛው 24? የግድግዳው ከሆነ መደርደሪያው ሌላ አገር ነው። ቴርሞሜትር ቅጠሉ አጠገብ አስቀምጪና አንድ ሌሊት አሳድሪው። ከዚያ መስኮት ዳር አውርጂው፣ ሌሊት 16 ወይም 17፣ ቀን ከ20 እስከ 24 የሚሆንበት ቦታ። ሦስት አራት ሳምንት ይበቃዋል። ከ15 በታች ግን አታውርጂው፣ ቅጠሉም መስታወቱን እንዳይነካ።

እኔ ይህን የተማርኩት በመጽሐፍ አይደለም። አንድ ዓመት ማሞቂያችን ተበላሸና ሠሪው እስኪመጣ ሦስት ሳምንት በብርድ ልብስ ተጠቅልለን ከረምን። በወሩ አራቱም ኦርኪዶቼ ዘንግ አወጡ። ባለቤቴ ማሞቂያው ባይሠራ ይሻል ነበር ወይ ብላ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ሽማግሌው አትክልተኛ፦

ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን ልጄ፣ ብርሃኑን ካላስተካከልሽ ቅዝቃዜው ብቻውን አያደርስሽም። "ጥቁር አረንጓዴ፣ ያብረቀርቃል" ስትይ ደንገጥ አልኩ። ሰው ሁሉ ይህን ጤና ይመስለዋል። የብርሃን ረሃብ ነው። ተክሉ ያገኘውን ትንሽ ብርሃን ላለማባከን ቅጠሉን ያጠቁረዋል። በቂ ብርሃን ያገኘ ፋሌኖፕሲስ ቅጠሉ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው፣ ትንሽ ወደ ቢጫ ያዘነበለ። ጠርዙ ወይን ጠጅ መምሰል ከጀመረ ደግሞ በዝቶበታል ማለት ነው።

ያለ መሣሪያ መለካት ይቻላል። እኩለ ቀን ላይ መዳፍሽን ከቅጠሉ ሠላሳ ሴንቲሜትር ከፍ አድርገሽ ዘርጊ። ጥላው ጠርዙ ደብዘዝ ብሎ ግን የእጅ ቅርጽ ከታየ ጥሩ ነው። ጣቶችሽ ጥርት ብለው ከታዩ ፀሐዩ ይበዛል፣ ስስ መጋረጃ ጣል አድርጊ። ጥላ የሚባል ነገር ከሌለ ያ ቦታ ለመጽሐፍ ነው እንጂ ለአበባ አይደለም። በቁጥር ከፈለግሽ ከ10,000 እስከ 15,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይወዳል። ከመስኮት ሦስት ሜትር ገባ ብሎ ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ሉክስ ነው የሚገኘው፣ ስልክሽ ላይ መለኪያ አፕ ጭነሽ እይው።

ምሥራቅ የሚያይ መስኮት ካለሽ ታድለሻል። ከሌለሽ ኤልኢዲ መብራት ከላይ ሰቅለሽ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት አብሪለት። ሌሊቱን ግን አጥፊው። ይህ ተክል ቀን አፉን ዘግቶ ይውልና አየር የሚስበው ሌሊት ነው፣ ጨለማው ያስፈልገዋል።

ነጭ ቢራቢሮ፦

ብቅ ስላለው ነገር ልናገር። ሥር ከሆነ ጫፉ ክብ ነው፣ ልስልስ፣ እንደ ክብሪት ራስ፣ እየረዘመ ሲሄድ ከኋላው ብርማ ልባስ ይለብሳል። ዘንግ ከሆነ ጫፉ ጠፍጠፍ ያለ ነው፣ የሕፃን ጓንት አይተሽ ታውቂያለሽ አይደል፣ አውራ ጣቱ ብቻውን የተለየ? ልክ እንደዚያ አንድ ጎኑ ላይ ስንጥቅ አለው። ዘንግ ከቅጠሉ ብብት ወጥቶ ወደ ብርሃኑ ሽቅብ ይሄዳል፣ ሥር ደግሞ እንደፈለገ ይዞራል፣ ብዙ ጊዜ ቁልቁል። ካልለየሽ ዝም ብለሽ አሥር ቀን ጠብቂ፣ እኔ በችኮላ ሥር መስሎኝ ዘንግ ቆርጬ አውቃለሁ፣ ያን ቀን የበላሁት አልጣመኝም።

ጀማሪዋ፦

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። አሁን ሄጄ አየሁት። ጫፉ ክብ ነው፣ ቀላ ይላል፣ ስንጥቅ የለውም። ሥር ነው በቃ። ተስፋዬን ቀበርኩ 😅

ቴርሞሜትሩን አሳድሬው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ 29 ዲግሪ! ምስኪን። የእጁንም ሞከርኩ ጋሼ፣ ምንም ጥላ የለም። ዛሬውኑ መኝታ ቤት መስኮት ዳር ወሰድኩት፣ እዚያ ማሞቂያ አልከፍትም።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። ቀዝቃዛ ቦታ ከሆነ ውሃው እንዴት ይሁን? ጓደኛዬ በሳምንት ሦስት ጠጠር በረዶ አድርጊበት አለችኝ። እውነት ነው?

የዛፍ ቅርፊት፦

በረዶ?? ይህ ተክል በተፈጥሮው ሞቃት ደን ውስጥ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር ነው፣ በረዶ የት አግኝቶ ያውቃል። ተይው ባክሽ።

የመስኮት ዳር፦

እኔም እንዳንተ ነበር የማስበው፣ ግን ፍትሕ ለበረዶውም ይሰጠው። በ2017 እ.ኤ.አ. የኦሃዮ ስቴትና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአፈር ፋንታ በዛፍ ቅርፊት ስብርባሪ የተተከሉ ፋሌኖፕሲሶችን ግማሹን በበረዶ፣ ግማሹን በተራ ውሃ አጠጥተው አወዳድረዋል። የአበባው ዕድሜ ለውጥ አላሳየም፣ ሥሩም አልተጎዳም። ስለዚህ አይገድለውም። የበረዶው ጥቅም ሰው ውሃ እንዳያበዛ መጠን መወሰኑ ነው እንጂ ቅዝቃዜው የሚጨምረው ነገር የለም። እኔ በበኩሌ ለብ ያለ ውሃ እመርጣለሁ፣ ቅርፊቱን በደንብ ያጥባል፣ የማዳበሪያ ጨውም አብሮ ይወጣል።

የዛፍ ቅርፊት፦

እሺ ተረታሁ፣ ግን አላደርገውም 😄

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። በቀን አትቁጠሪ፣ ሥሩን እዪ። ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ነው አይደል? ሥሩ ብርማ ግራጫ ሲሆን ጠምቶታል፣ አረንጓዴ ከሆነ ጠግቧል፣ አትንኪው። በብርድ ወራት ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው፣ ሰባት ቀን የነበረው አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሊሆን ይችላል። ዕቃውን ብድግ እያደረግሽ ክብደቱን ልመጂው። ውሃ ጠዋት ስጪ፣ አስር ደቂቃ ነክረሽ በደንብ አንጠፍጥፊው፣ ታች የቀረ ውሃ አይቁም። ቅጠሎቹ የሚገናኙበት መሃል ላይ ጠብታ ካየሽ በሶፍት ምጠጪው፣ በብርድ ጊዜ እዚያ ውሃ ካደረ ልቡ ይበሰብሳል፣ ልቡ ከበሰበሰ ደግሞ በዚያ በኩል አዲስ ቅጠል የለም።

ሌላም ነገር። ከገዙት በኋላ መትከያው ተቀይሮ የማያውቅ ከሆነ ሥሩ መሃል ላይ የታመቀ ሞስ፣ ውሃ የሚይዝ የሽበት ዓይነት፣ ሊኖር ይችላል። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ነው፣ ያታልላል። አሁን ግን አትንቀይው፣ ካበበ በኋላ ትቀይሪዋለሽ።

ቡቃያ፦

ይቅርታ በሰው ጥያቄ ገባሁ፣ ግን የእኔም የብርድ ወራት ጣጣ ነው። የእኔ ዘንግ አውጥቷል፣ ሰባት እምቡጥ ይዞ ነበር። ልክ ሊፈነዳ ሲል አራቱ ቢጫ ሆነው ረገፉ። ውሃ አልቀነስኩም አልጨመርኩም። ሁሌም እንደነበረው የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው ያለው።

ነጭ ቢራቢሮ፦

ጠረጴዛው ላይ ከጎኑ ምን አለ?

ቡቃያ፦

ምንም። የፍራፍሬ ሳህን ብቻ። ሙዝና ፖም።

ነጭ ቢራቢሮ፦

በቃ! ሙዝና ፖም ሲበስሉ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ለኦርኪድ እምቡጥ ያ ጋዝ "ጊዜህ አልፏል፣ ውረድ" እንደማለት ነው። ሳህኑን ወይ ኦርኪዱን ዛሬ አንሣ። የቀሩት ሦስቱ ሊተርፉልህ ይችላሉ።

ሌላው እምቡጥ የሚያረግፍ ነገር ድንገተኛ ለውጥ ነው። የሚከፈት በር አጠገብ የሚገባ ብርድ፣ ከማሞቂያ የሚነፍስ ደረቅ አየር፣ ሥሩ ጭልጥ ብሎ መድረቅ። ደግሞ እምቡጥ ከያዘ በኋላ ዕቃውን አታዙረው። እምቡጦቹ ወደ ብርሃኑ ፊታቸውን አዙረው ነው የሚሰለፉት፣ ስታዞረው አንገታቸውን ይጠመዝዛሉ፣ ሲያብቡ አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ያያል።

ቡቃያ፦

ሙዙን አስወጣሁት። ይህን ማን ያስባል!

ጀማሪዋ፦

ዴንድሮቢየም ኖቢሌ የሚባል ሌላ ኦርኪድም አለኝ። እሱንም አብሬ መስኮት ዳር ላድርገው? እንደዚያው ነው?

ሽማግሌው አትክልተኛ፦

ቦታው ይስማማዋል፣ አያያዙ ግን ሌላ ነው ልጄ። ኖቢሌ በብርድ ወራት ደረቅ ዕረፍት ይፈልጋል። ማዳበሪያውን አሁኑኑ አቁሚ፣ ውሃውንም ግንዱ ክፉኛ እንዳይጨማደድ ያህል ብቻ ስጪው። ሌሊት 12 ዲግሪ ቢሆን እንኳ አይከፋውም። ቅጠል ቢያራግፍ አትደንግጪ። አንጓዎቹ ላይ እምቡጥ ሲያብጥ ያኔ ውሃውን ትመልሻለሽ። አሳዝኖሽ ውሃና ማዳበሪያ ከቀጠልሽ አበባ በሚወጣበት አንጓ ላይ ሥር ያለው ሕፃን ተክል ያወጣልሻል፣ ኬይኪ የሚሉት፣ በሃዋይ ቋንቋ ልጅ ማለት ነው። ልጅ መልካም ነው፣ አበባ ከፈለግሽ ግን ጨከን በይ።

ሲምቢዲየም የሚባለው ኦርኪድ ያለው ሰው ካለም ያው ነው፣ ቀዝቃዛ ሌሊት ይወዳል፣ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ፣ ግን ውሃውን እንደ ኖቢሌ አትከልክሉት።

ጀማሪዋ (ከሰባት ሳምንት በኋላ)፦

ተመለስኩ! መስኮት ዳር ካደረግኩት በአምስተኛው ሳምንት ከሦስተኛው ቅጠል ብብት አንድ ነገር ብቅ አለ። እንዳላችሁት ጓንት ነው! አውራ ጣቱ ሳይቀር። በአጉሊ መነጽር አየሁት፣ ማመን አቅቶኝ። አሁን አራት ሴንቲሜትር ሆኗል፣ ቀጥ ብሎ ወደ መስታወቱ ይሄዳል። ቅጠሉም ፈዘዝ ብሏል፣ መጀመሪያ የታመመ መስሎኝ ነበር፣ ከዚያ ጋሼ ያሉት ትዝ አለኝ። አሁን ወደ ሳሎን ልመልሰው? መቼስ ያብባል?

የመስኮት ዳር፦

እንኳን ደስ ያለሽ! አትመልሺው። ሥራውን ጀምሯልና ባለበት ይጨርስ። ከዚህ ወዲያ ሌሊቱ 18 ቢሆን ይሻላል፣ በጣም ከቀዘቀዘ ዘንጉ ይንቀራፈፋል። ሃያ ሴንቲሜትር ሲደርስ ቀጭን እንጨት ትከዪና በላላ ክር ያዢው፣ አታጥብቂ፣ ለጋ ዘንግ ቀጭ ብሎ ነው የሚሰበር። አበባው ከዛሬ ጀምሮ ሁለት፣ ቢዘገይ ሦስት ወር ነው።

ነጭ ቢራቢሮ፦

ሲያብብ ወደ ሳሎን ልታመጪው ትችያለሽ፣ ያኔ ግድ የለም። ከፍራፍሬ ሳህን አርቀሽ ብቻ! አበባው ሲያልቅ ዘንጉ አረንጓዴ ከሆነ እንዳለፈው ከሥሩ አትቁረጪው። ከታች ሁለት ወይም ሦስት አንጓ ቆጥረሽ ከዚያ ትንሽ ከፍ ብለሽ ቁረጪ፣ አንዳንዴ ከዚያው ሌላ ቅርንጫፍ ይሰጣል። ተክሉ ደከም ብሎ ካየሽው ግን ሙሉውን ቆርጠሽ አሳርፊው።

ቡቃያ፦

የእኔም ሦስቱ ተርፈው አብበዋል ☺️

ጀማሪዋ፦

አሪፍ! እኔም እንጨቱን አዘጋጅቻለሁ። መደርደሪያው ላይ መጽሐፎቹን መልሻለሁ፣ እነሱ ሙቀቱን ይችሉታል።