በአንድ ቅጽ የሚያልቅ፣ ቦታው ከጭንቅላት የማይወጣ የወጣቶች ልብ ወለድ ጠቁሙኝ

ገጽ ገላጭ
ሰላም አንባቢዎች። የእህቴ ልጅ 14 ዓመት ሞላት። ማንበብ ጀምራለች፣ ግን ቶሎ ይሰለቻታል። አብሬያት ላነብ አስቤያለሁ። አንደኛ፣ ታሪኩ በአንድ ቅጽ ይለቅ። ተከታታይ ከሆነ ሁለተኛው ላይ እንደምትተወው አውቃታለሁ። ሁለተኛ፣ መቼቱ ጠንካራ ይሁን። መጽሐፉን ከዘጋን በኋላ እዚያ ሰፈር የኖርን እንዲመስለን። ዋናው ገፀ ባሕርይ ደግሞ ሁሉን የሚችል ጀግና ባይሆን ደስ ይለኛል። እስካሁን «ዘ ጊቨር» እና «ዘ ቡክ ቲፍ» መካከል ነኝ። የቱ ይሻላል?

ሆግዋርትስ ለዘላለም
ሀሪ ፖተር። ምን ጥያቄ አለው?

ገጽ ገላጭ
አመሰግናለሁ፣ ግን እሱ ሰባት ቅጽ ነው።

ሆግዋርትስ ለዘላለም
ሰባቱ እንደ አንድ ነው የሚነበበው። መቼት ካልሽ ደግሞ ከሀሪ የአስማት ትምህርት ቤት ከሆግዋርትስ በላይ ላሳር ነው። 142 ደረጃዎች አሉት። አርብ አርብ ሌላ ቦታ የሚያደርስ ደረጃ አለ። መሃሉ ላይ ድንገት የሚጠፋ እርከን ያለውም አለ፣ መዝለል ካልረሳሽ ታልፊዋለሽ። ይህን ያነበበች ልጅ ሌላ መጽሐፍ አትጠይቅሽም።

የማታ አንባቢ
እኔ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ፣ ሁለቱንም አንብቤያቸዋለሁ።

«ዘ ጊቨር» የሎይስ ላውሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ወጣ፣ በዓመቱ የኒውበሪ ሜዳሊያ፣ የአሜሪካን የልጆች መጽሐፍ ሽልማት፣ ተሸለመ። 200 ገጽ አካባቢ ነው። ቶሎ ለሚሰለቻት ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ቦታውን የምታውቂው በሌለው ነገር ነው። ኮረብታ የለም። በረዶ የለም። ሥራውን ራሱ የሚመርጥ ሰው የለም። ዋናው ልጅ ጆናስ ከጓደኛው ጋር ፖም ሲቀባበል ፖሙ አየር ላይ እንዳለ ለአፍታ ይለወጥበታል። ምኑ እንደተለወጠ ግን መናገር አይችልም፣ ቃሉን አያውቀውማ። እኔ እዚያ ጋ የሆነ ነገር ያለፈኝ መስሎኝ ገጹን መልሼ አንብቤዋለሁ።

«ዘ ቡክ ቲፍ» የማርከስ ዙሳክ ነው፣ 2005። ከ500 ገጽ በላይ። ተራኪው ሞት ነው። አዎ፣ ራሱ ሞት። ሊዝል የምትባል ልጅ በናዚ ጀርመን፣ ሂመል በሚባል የድሆች መንገድ ላይ ከአሳዳጊዎቿ ጋር ትኖራለች። ማንበብ አትችልም ነበር። አሳዳጊ አባቷ ምድር ቤት ይወስዳትና በቀለም ብሩሽ ግድግዳው ላይ ቃላት እየጻፈ ያስተምራታል። እዚያው ምድር ቤት ውስጥ የተደበቀው አይሁዳዊ ደግሞ የሂትለርን መጽሐፍ ገጾች ነጭ ቀለም ይቀባና በላዩ ላይ ለልጅቷ የራሱን ታሪክ ይሥልላታል። ያ መንገድ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። መጀመሪያው ግን ይከብዳል። ሞት በየመሃሉ ጣልቃ እየገባ ያደናቅፋል። ትዕግሥት የሌላት ልጅ እዚያው ትጥለዋለች።

ስለዚህ ጊቨርን አስቀድሚ። ተከታዮች አሉት፣ ያለ እነሱም ግን ሙሉ ታሪክ ነው።

ጥላ ሥር
ጊቨርን እኔም ወድጄዋለሁ፣ ግን መጨረሻው አልገባኝም። ልጁ በመጨረሻ ሞተ ነው አልሞተም?

ብራና
ኧረ በፈጠረሽ! ልጅቷ ገና አላነበበችውም እኮ!

ጥላ ሥር
እኔ ጠየቅኩ እንጂ ምን ተናገርኩ?

ኩርባ መንገድ
ተከታታይ አለመፈለግሽ ትክክል ነው። እኔን ያየ ይቀጣ።

«ዘ ሀንገር ጌምስ»ን ሦስቱንም ቅጽ ከአንድ ሻጭ አዘዝኩ። እሽጉን ስከፍተው አንደኛው ቅጽ አለ። ሦስተኛው አለ። አሁንም ሦስተኛው አለ። ሁለተኛው የለም። ሻጩን ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሦስት መጽሐፍ አዘዝክ፣ ሦስት መጽሐፍ ደረሰህ።»

አንደኛውን በአንድ ሌሊት ጨርሼው ስለነበር መታገሥ አልቻልኩም። ሦስተኛውን ገለጥኩ። ዋናዋ ገፀ ባሕርይ ካትኒስ አመድ ላይ እየሄደች ነው። የትውልድ ቦታዋ ዲስትሪክት 12 ተቃጥሏል። ማን አቃጠለው? ድሮ ድምጥማጡ ጠፋ የተባለው ዲስትሪክት 13 ደግሞ ቁጭ ብሏል። ፊኒክ የሚባል ሰው አለ፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ያዝንለታል። እኔ ማን እንደሆነ አላውቅም!

ብራና
ቆይ፣ ገንዘብህንስ አልመለሰልህም?

ኩርባ መንገድ
«ከተከፈተ በኋላ አንመልስም» ነው መልሱ። ሳልከፍተው ሁለተኛው እንደሌለ በምን ልወቅ?

ሰኞ ማለዳ
የኔ ይብሳል። በታሪኩ እጅግ ወሳኝ ቦታ ላይ ገጾቹ ተደግመው ታትመዋል። ገልጬ ገልጬ ያነበብኩት ምዕራፍ ጋ ተመለስኩ። ተመለሰ ያልኩት ሰውዬ እንደገና ሲሄድ አየሁት።

ጥላ ሥር
የኔ ደግሞ ሽፋኑ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ ነበር። የፍቅር ታሪክ ብዬ ገዝቼ የዘንዶ ጦርነት አነበብኩ። ለነገሩ ጥሩ ነበር።

ዝምታ ወርቅ ነው
እንግዲህ ተጠቃሏል። የጠያቂዋ እህት ልጅ ቅጽ ሁለት የሌለው፣ ገጾቹ የተደገሙ፣ ሽፋኑ የሌላ መጽሐፍ የሆነ ልብ ወለድ ታንብብ። በአንድ ቅጽ ያልቃል፣ መቼቱም የሻጩ መጋዘን ነው።

ገጽ ገላጭ
ሃሃሃ። ኧረ ስለ መጽሐፎቹ!

ብራና
እሺ፣ አንድ ጠቃሚ ነገር ልበል። የተከታታይ ቅጾች ሽፋን ስለሚመሳሰል ሻጮች ሲያሽጉ ይደባለቅባቸዋል። ስታዙ ርዕሱን ብቻ አትላኩ። እያንዳንዱ ቅጽ የየራሱ አይ ኤስ ቢ ኤን፣ ማለትም የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ አለው። ከ2007 ወዲህ የታተመ ከሆነ ቁጥሩ 13 አኃዝ ነው፣ ከጀርባው ሽፋን ባር ኮዱ ጋ ታገኙታላችሁ። እሱን ላኩና «ይሄንኑ» በሉ። ከዚያ በኋላ «ሦስት አዘዝክ» ብሎ ማምለጥ የለም። ወንድሜ ኩርባ መንገድ፣ ላንተ እንኳ ዘገየ።

ሀንገር ጌምስን ግን አትፍሩት። የመጀመሪያው ቅጽ (2008) ለብቻው ቢነበብ አጥጋቢ ነው። ዲስትሪክት 12 የከሰል ማዕድን ቦታ ነው። አጥሩ ኤሌክትሪክ አለው ይባላል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ኃይል የለውም፤ ካትኒስ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ድምፁን ሰምታ ነው ሾልካ ወደ ጫካ የምትገባው። ልጆች በዕጣ ተመርጠው እርስ በርስ ወደሚገዳደሉበት ጨዋታ ይላካሉ፤ ድሃ ልጆች ለእህልና ለዘይት ሲሉ ስማቸውን በዕጣው ውስጥ ደጋግመው ያስገባሉ። የካትኒስ ስም 20 ጊዜ፣ የጓደኛዋ የጌል 42 ጊዜ አለ። ከዚህ በኋላ ስለ ድህነት ሌላ ማብራሪያ ምን ያደርጋል?

ኩርባ መንገድ
እኔ አሁንም ያን ሻጭ ይቅር አልለውም።

መምህር በጡረታ
ልጄ ገጽ ገላጭ፣ ሌላ ሐሳብ ላምጣልሽ። «ዘ አውትሳይደርስ»። ኤስ ኢ ሂንተን መጻፍ ስትጀምር ዕድሜዋ 15 ነበር። በ1967 ሲታተም 18። ተራኪው ፖኒቦይ ልክ እንደ እህትሽ ልጅ 14 ዓመቱ ነው። ከተማዋ የድሃና የሀብታም ልጆች ተብላ ለሁለት ተከፍላለች። ፖኒቦይ ከወዲያኛው ሰፈር ልጅ ጋር ሲያወራ ሁለቱም ያችኑ ፀሐይ ስትጠልቅ የማየት ልማድ እንዳላቸው ያውቃል፣ እሷ ከግቢዋ፣ እሱ ከኋላ በር ደረጃ ላይ ሆኖ። አንድ ቅጽ ነው። ጀግናም የለበትም። ልጁ ፊልም የሚወድ፣ መጽሐፍ የሚያነብ፣ በትልልቅ ወንድሞቹ የሚያድግ ወላጅ አልባ ነው። ጠብና ሞት አለበትና አንቺ ቀድመሽ አንብቢው።

የማታ አንባቢ
መምህር፣ እርስዎ ያሉት ነው ትክክሉ። እንዴት ረሳሁት!

ሆግዋርትስ ለዘላለም
ለክርክር ያህል ሳይሆን፣ የአስማት ትምህርት ቤት ያለው መጽሐፍ ካልሆነ ልጆች አይያዙም። ያንን ደግሞ የፈጠረችው ሮውሊንግ ናት።

መምህር በጡረታ
ልጄ፣ የመጀመሪያው ሀሪ ፖተር የወጣው በ1997 ነው። የኡርሱላ ለ ጉዊን «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» በ1968 ታትሟል። ጌድ የሚባል የፍየል እረኛ ከደሴቱ ተነሥቶ ሮክ ወደሚባል ደሴት፣ የጠንቋዮች ትምህርት ቤት ይሄዳል። በትዕቢቱ ክፉ ጥላ ይለቅቅና ጥላው ያሳድደዋል። እዚያ ዓለም ውስጥ የአንድን ነገር እውነተኛ ስም ያወቀ ነገሩን ያዝዘዋል። ደሴቶቹና ባሕሩ ደግሞ ለጠያቂዋ መቼት የሚሆኑ ናቸው።

ሆግዋርትስ ለዘላለም
ይሁን። ሮክ ላይ ግን ኩዊዲች፣ በመጥረጊያ እየበረሩ የሚጫወቱት ኳስ፣ አለ?

ዝምታ ወርቅ ነው
ክርክሩ ተዘጋ። 29 ዓመት በኳስ ጨዋታ ተሸነፈ።

ሰኞ ማለዳ
ፊልሞቹን ብቻ ብታሳያትስ? የቫምፓየሮቹን ታሪክ ትዋይላይትን እኔ በፊልም ነው የጨረስኩት። ፎርክስ የምትባለው ከተማ እውነት አለች እኮ፣ ዝናቡም እውነት ነው።

ጥላ ሥር
ቫምፓየሩ ፀሐይ ላይ የሚያብለጨልጨውም እውነት ነው?

ሰኞ ማለዳ
አንቺ ደግሞ ስትፈልጊ ትገቢያለሽ!

ቀይ እስክሪብቶ
ዘግይቼ ገባሁ፣ አስማት ከተባለ ግን «አካታ ዊች»ን ማንም አላነሳውም? የንኔዲ ኦኮራፎር፣ 2011። ሰኒ 12 ዓመቷ ነው፣ ናይጄሪያ ውስጥ ነው የምትኖረው። አልቢኖ ስለሆነች ፀሐይ ያቃጥላታል፣ ስለዚህ እግር ኳስ የምትጫወተው ማታ ነው። በኋላ የአስማት ሰዎችን ማኅበረሰብ ትቀላቀላለች። እዚያ የምወደው ነገር ይኼ ነው፦ አዲስ ነገር ስትማሪ ቺቲም የሚባል የብረት ገንዘብ ከሰማይ ይወርድልሻል። ያወቀ ሀብታም ነው። ሰነፍ ተማሪ ደግሞ ኪሱ ባዶ ነው። ሰኒ ራሷ መጀመሪያ ላይ ምንም አትችልም፣ ትፈራለች፣ ትሳሳታለች። ገጽ ገላጭ፣ «ሁሉን የሚችል ጀግና አልፈልግም» ብለሽ የለ? ተከታይ አለው፣ ግን የመጀመሪያው ላይ ብታቆሙም የዋናው ሥጋት ታሪክ ተቋጭቷል።

የማታ አንባቢ
ይሄን አላነበብኩም። ያዝኩት።

ሆግዋርትስ ለዘላለም
ጥሩ ይመስላል። ከሀሪ ፖተር ቀጥሎ ማንበብ ትችላለች።

ጥላ ሥር
እኔ ደግሞ አንን እላለሁ፣ «አን ኦፍ ግሪን ጌብልስ»። ከ1908 ጀምሮ እየተነበበች ነው። ኩሬውን እንኳ በስሙ አትጠራውም፣ «የሚያብረቀርቁ ውኆች ሐይቅ» ትለዋለች። ፀጉሯን «ካሮት» ብሎ የሰደበውን ልጅ ጭንቅላቱን በጽሕፈት ሰሌዳዋ ትመታዋለች፣ ሰሌዳው ለሁለት ይሰበራል። ከዚያ በላይ ገፀ ባሕርይ ከየት ይመጣል? ይሄኛውን መጨረሻ አልናገርም፣ ብራና አትቆጪ።

ብራና
ተሻሽለሻል። ስንት ቅጽ እንደሆነ ግን አልነገርሻትም።

ጥላ ሥር
እንዴ፣ የመጀመሪያውን ብቻ ታንብባ!

ገጽ ገላጭ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት መርጬ አዝዣለሁ፣ በአይ ኤስ ቢ ኤን ነው ያዘዝኩት። መምህር፣ ምክርዎን ሰምቼ ቀድሜ አነባለሁ። የእህቴ ልጅ እያየችኝ ነው መሰል፣ አሁን ከአጠገቤ አትጠፋም።

ቀይ እስክሪብቶ
የትኞቹን ሁለት?

የማታ አንባቢ
አዎ፣ ንገሪን እንጂ።

ኩርባ መንገድ
እሷ እስክትመለስ፣ የሀንገር ጌምስ ሦስተኛ ቅጽ የሚፈልግ አለ? አንድ ትርፍ አለኝ። በሁለተኛው እለውጣለሁ።

ዝምታ ወርቅ ነው
ሁለተኛውን ትርፍ ያለው ሰውዬ ይኖራል፣ ያው ከዚያው ሻጭ የገዛ። ፈልገው።

ሰኞ ማለዳ
ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልውጣና፣ የፐርሲ ጃክሰን ፊልም ላይ ልጁ ለምን ትልቅ ሆነ? መጽሐፉ ላይ 12 ዓመቱ አልነበር?