«ፋውስት» በአማርኛ፦ ቡጢ፣ ጡጫ ወይስ ጭብጥ?

ጠያቂው፦ ጤና ይስጥልኝ። ስለ ጀርመኑ የሮክ ባንድ ፋውስት እየጻፍኩ አንድ ዓረፍተ ነገር አልወጣ አለኝ። በ1971 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ስሙ ራሱ ፋውስት ነው። ሸክላው ብርሃን ያሳልፋል። በጠራው ሽፋን ላይ የእጅ ራጅ ታትሟል። «ፋውስት» በጀርመንኛ የተጨበጠ እጅ ነው። ነፍሱን ለሰይጣን የሸጠው የተረቱ ሊቅም ስም ነው። «ስማቸውን ራጅ አነሱት» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱንም የሚይዝ አንድ ቃል አለን?

ሸክላ ወዳድ፦ ቡጢ በለው! አልበሙ ሲከፈት ቢትልስና ሮሊንግ ስቶንስ ብልጭ ብለው በጩኸት ይዋጣሉ። ይሄ መምታት ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው?

መሪጌታው፦ ልጆች፣ ከሥሩ እንነሳ። ግእዙ ጸፍዐ እያለ ቡጢ ምን ያደርጋል? ጽፍዓት ይባል።

የሰዋስው ተማሪ፦ መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጽፍዓት በተዘረጋ እጅ ነው። ሕማማት ላይ «ተጸፍዖ መልታሕ» የምንለው ጉንጭን በጥፊ መመታት ነው። ጥፊም የወጣው ከዚያው ነው። የራጁ እጅ ግን ተዘግቷል። ስለዚህ ጭብጥ። የጽሑፍ ዋና ሐሳብንም ጭብጥ እንል የለ?

መሪጌታው፦ በመልታሕ ተረትቻለሁ። በጭብጥ ግን አልስማማም። ጭብጥ ውስጡ የተያዘ ነገር ይፈልጋል። «ጭብጥ ቆሎ ይዘህ ወደ አሻሮ ተጠጋ» ነው የሚባለው። ራጁን አጥንቱ ድረስ እዩት፤ እጁ ባዶ ነው። ባዶ እጅ ሲጨበጥ ጡጫ ነው።

ሸክላ ወዳድ፦ ባዶማ አልነበሩም። ጋዜጠኛው ኡቬ ኔትልቤክ ከሸክላ አሳታሚው ፖሊዶር ገንዘብ አስወጥቶላቸዋል። ቩሜ በምትባል መንደር አሮጌ ትምህርት ቤት ስቱዲዮ ሆኖላቸዋል። የድምፅ ባለሙያው ኩርት ግራውፕነር አብሯቸው ነበር። ይሄን ሁሉ ጨብጠው ነው የጀመሩት። እኔም ወደ ጭብጥ ዞሬያለሁ።

የሰዋስው ተማሪ፦ ተያዘ ከተባለ እፍኝም አለ። ግእዙ ሕፍን ነው።

መሪጌታው፦ ሕፍን የሁለት እጅ ነው! ሁለት መዳፍ ገጥሞ መዝገን።

የሰዋስው ተማሪ፦ እኛ ቤት እፍኝ በአንድ እጅ ነው። እናቴ ምስር የምትሰፍረው እንደዚያ ነው።

ጠያቂው፦ የሊቁን ነገር ማንም አላነሳልኝም። ነገ ጽሑፉን አስረክባለሁ።

መሪጌታው፦ ቆይ ልጄ፣ እፍኝን እንጨርስ።