የፓዮኒር ኤስኤክስ-780 እድሳት ከየት ይጀመራል?

ሸክላ ወዳጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአሜሪካ የመጣ ፓዮኒር ኤስኤክስ-780 ሪሲቨር (ራዲዮና አምፕሊፋየር በአንድ ሣጥን) እጄ ገብቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ገበያ ላይ ከዋለው ዘር። ለዓመታት ዕቃ ቤት ተቀምጦ ስለነበር አቧራው ለጉድ ነው። ጀርባው ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል፤ የቮልቴጅ መምረጫ የለውም። እስካሁን መብራት አላየም፣ አልሰካሁትም።

የምፈልገው እንዲጮህ ብቻ አይደለም። ከፋብሪካ ሲወጣ በየቻናሉ 45 ዋት በ8 ኦም ይሰጥ ነበር፤ ወደዚያው እንዲመለስ፣ መልኩም እንደ አዲስ እንዲሆን ነው። መልቲሜትርና ሙቀቱ የሚስተካከል የሶልደር ብረት አለኝ፣ ኦሲሎስኮፕ የለኝም። ከምን ልጀምር? ካፓሲተሮቹን በሙሉ ልቀይር ወይስ የተበላሹትን ብቻ? ያለሁት አዲስ አበባ ነው።

ቀይ ሽቦ

አለመሰካትህ ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ የመብራቱን ጉዳይ ጨርስ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደረሳል።

የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ቮልቱን ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ታገኛለህ፣ ኸርዙን ግን አይቀይርልህም። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ሲሠራ ብረቱ ውስጥ ያለው መግነጢስ ይበዛል፣ ይሞቃል፣ እምም ይላል። መግነጢሱ የሚለካው ቮልቱ ለኸርዙ ተካፍሎ ነው። ፋብሪካው 120 ለ60 ሰጥቶታል፣ 2 ማለት ነው። አንተ 120 በ50 ብትሰጠው 2.4 ይደርሳል፣ ይህ ብዙ ነው። 110 ብትሰጠው 2.2 ይሆናል፣ አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል። 100 ብትሰጠው ልክ እንደ አገሩ ነው። ስለዚህ መውጫው 110 ወይም 100 የሆነ፣ 500 ቪኤ (ቮልት ሲባዛ በአምፔር) የሚችል የሽቦ ትራንስፎርመር ፈልግ። ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጡትን ቀላልና ትንንሽ መቀየሪያዎች በፍጹም አትጠቀም፤ ሞገዱን ቆራርጠው ነው የሚያወጡት።

በ110 ስትሠራ ከ45 ዋቱ ወደ 38 ዋት አካባቢ ይወርዳል። በጆሮ ሲሰማ ከ1 ዴሲቤል ያነሰ ልዩነት ነው፣ አትጨነቅበት። ይልቅ የሰፈርህ መብራት ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ከትራንስፎርመሩ በፊት ስታቢላይዘር አስገባ፤ መግቢያው 240 ሲሆን መውጫውም አብሮ ወደ 120 ይወጣል።

ለመጀመሪያው ማብራት 100 ዋት የሆነ የድሮውን የሽቦ አምፖል (ኤልኢዲ አይሆንም) በተከታታይ አስገባ። አምፖሉ የ220 ስለሆነ ቦታው ከትራንስፎርመሩ በፊት፣ በ220ው በኩል ነው። ስፒከር አታገናኝ፣ ቮልዩሙን ዜሮ አድርግ። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጥ ሾርት ያደረገ ነገር አለ፣ ወዲያው ንቀል። በአምፖሉ ላይ እያለ የመከላከያው ሪሌ (ስፒከሩን የሚያገናኘውና የሚቆርጠው ስዊች) "ጠቅ" ላይል ይችላል፤ ቮልቱ ስላነሰው ነውና ብልሽት ነው ብለህ አትደምድም።

ክዳኑን ከፍተህ ከመንካትህ በፊት ትላልቆቹን ካፓሲተሮች በ100 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር አፍስሳቸው፣ ከዚያ በመልቲሜትር ዜሮ መሆናቸውን አረጋግጥ። በጠመንጃ መፍቻ ማገናኘት ካፓሲተሩንም ቦርዱንም ይጎዳል።

የመስታወት ነገር

ቀይ ሽቦ ያለው እንዳለ ሆኖ፣ ከመሶልደር በፊት ጽዳት ይቅደም። የሞተ የሚመስል ቻናል ብዙ ጊዜ የቆሸሸ ስዊች ነው። የቴፕ ሞኒተር ስዊች ዋናው ተጠርጣሪ ነው፤ ሁሉም ድምፅ በእሱ በኩል ያልፋል፣ የሚነካው ሰው ግን የለም።

አቧራውን በለስላሳ ብሩሽና በንፋስ አውጣ። ለስዊቾቹ ዲኦክሲት ዲ5 ወይም ለኤሌክትሮኒክስ ተብሎ የተሠራ ማጽጃ በቀጭኑ ቱቦ ወደ ውስጥ ትንሽ ንፋ፣ ከዚያ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅስ። ቮልዩምና ቶን ላይም እንደዚያው፤ ከጽዳቱ በኋላ ግን የቮልዩም ቅባት ካልጨመርክ ማዞሪያው ደርቆ ይሻክራል። ደብሊውዲ-40 አይነካው፤ የሚተወው ዘይት አቧራ ይሰበስባል። የጣቢያ መፈለጊያው ካፓሲተር ቅጠሎች ላይ ምንም አትንፋ። እዚያ የሚጸዳው ዘንጉን የሚነኩት ቀጫጭን የመሬት ስፕሪንጎች ብቻ ናቸው። ቆሽሸው ከሆነ መርፌው ሲንቀሳቀስ ኤፍኤሙ ይንኮሻኮሻል።

የፊቱን ፓነል ለማውለቅ ቁልፎቹን ንቀል፣ ፓነሉን ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ሳሙና እጠብ፣ በለስላሳ ጨርቅ አድርቅ። ጽሑፉ ላይ አትፈግፍግ።

አሁን ልብ ብለህ አንብበኝ። የጣቢያዎቹ ቁጥር የታተመው በመስታወቱ ጀርባ ነው። ከዚያ በኩል አልኮልም፣ የመስኮት ማጽጃም፣ እርጥብ ጨርቅም አይድረስበት። ቀለሙ ከ40 ዓመት በላይ አርጅቷል፤ አንዴ ከተላጠ የሚመልሰው የለም። ከኋላ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ብቻ፤ የፊቱን ግን እንደፈለግህ አጽዳ። እንደ አዲስ መሆን ይችሉ የነበሩ ስንት ሪሲቨሮች ፊታቸው ባዶ መስታወት ሆኖ የቀረው በዚህ ነው፣ ያሳዝናል።

ሣጥኑን በተመለከተ፣ ቪኒል ከሆነ ሳሙናና ውኃ ይበቃዋል። እውነተኛ የእንጨት ልጣጭ ከሆነ በ0000 የብረት ሱፍና በዘይት የቃጫውን መስመር ተከትለህ አሸው፤ ፍቅፋቂው ቦርዱ ላይ እንዳይበተን ሣጥኑ ከሪሲቨሩ ወጥቶ ርቆ ይሠራ።

ቨርጂኒያ ያለሁ

ወደ ካፓሲተሮቹ ልምጣ። "ሁሉንም ቀይር" የሚለውን ምክር አልደግፍም። ሴራሚኮቹና የፊልም ዓይነቶቹ አይደርቁም፤ የሚደርቁት ኤሌክትሮላይቶቹ (ውስጣቸው ፈሳሽ ያለባቸው) ናቸው። ከእነሱም ቀድመው የሚሞቱት ሙቀት አጠገብ ያሉት ናቸው። የኃይል ቦርዱ ላይ በሬጉሌተር ትራንዚስተሮቹ ዙሪያ ቦርዱ ጠቆር ብሎ ታያለህ፤ መጀመሪያ እዚያ ያሉትን ቀይር። ቀጥሎ ድምፁ የሚያልፍባቸውን፣ ከዚያ የሸክላ ማጫወቻው መግቢያ ያሉትን። ትላልቆቹን የማጣሪያ ካፓሲተሮች ግን ለካቸው፤ ብዙዎቹ አሁንም ጤነኞች ናቸው። መልቲሜትርህን ኤሲ ላይ አድርገህ በሁለቱም ላይ የቀረውን የኤሲ ሞገድ (ሪፕል) አወዳድር። እኛ ጋ 120 ኸርዝ ነው፣ እናንተ ጋ 100 ኸርዝ፤ አንደኛው ከሌላው በግልጽ ከበለጠ ሁለቱንም ቀይር።

የምትተካው ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ የሆነ ይሁን። 1 ማይክሮፋራድና ከዚያ በታች የሆኑትን በድምፅ መንገድ ላይ ካገኘህ በፊልም ተካቸው፣ ዳግመኛ አታያቸውም። ትላልቆቹን "ይጠንክሩ" ብለህ እጥፍ አታድርግ፤ ሲበራ የሚስቡት ከረንት ሬክቲፋየሩን (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረውን) ሊያቃጥል ይችላል።

ኒቺኮን፣ ፓናሶኒክ ወይም ኤልና የሚባሉትን ካፓሲተሮች ከማውዘር ወይም ከዲጂኪ (የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሻጮች ናቸው) አዝዞ በሚመጣ ሰው መላክ ቀላል ነው፣ አንድ ኪስ ይይዘዋል። መርካቶ የምትገዛ ከሆነ ከመሶልደርህ በፊት እያንዳንዱን ለካ፤ ትልቅ ልባስ ውስጥ ትንሽ ካፓሲተር የተደበቀበት አለ። በጣም ቀላል ከሆነ ተጠራጠር።

አሠራሩ ላይ፦ አንዱን ንቀል፣ አንዱን ትከል፤ አሥር ነቅለህ አሥር አትትከል። ከመንቀልህ በፊት ፎቶ አንሳ፤ አንዳንዱ የጃፓን ቦርድ ፖዘቲቩን፣ ሌላው ኔጋቲቩን ምልክት ያደርጋል፣ በግምት አትሂድ። ብረቱ ከ320 እስከ 350 ዲግሪ ይሁን፣ ከሦስት ሰከንድ በላይ አትያዝ። ቦርዱ ነጠላ ገጽ ነው፣ መዳቡ ቶሎ ይላቀቃል። በምሰሶዎች ላይ የተጠመጠሙትን ሽቦዎችም አታጥፍ፣ ከሥራቸው ይሰበራሉ።

ካጸዳህ በኋላም አንድ ቻናል "ሽሽ፣ ጠሽ" የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ ትራንዚስተር ነው። በዚያ ዘመን የጃፓን ዕቃዎች ውስጥ የታወቀው ጯሂ 2ኤስኤ726 ነው። ካገኘኸው በኬኤስኤ992 ተካው፤ የሁለቱም እግር ቅደም ተከተል ኤሚተር፣ ኮሌክተር፣ ቤዝ ነው፣ ለማንኛውም በመልቲሜትር አረጋግጥ።

ሸክላ ወዳጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ሪሌው በሙሉ ቮልት "ጠቅ" ባይልስ? የፊቱን አምፖሎች በኤልኢዲ ብቀይርስ?

ቀይ ሽቦ

"ጠቅ" ካላለ ሪሌውን አትውቀስ። ውጤቱ ላይ ዲሲ ቮልት አለ ማለት ሊሆን ይችላል፣ ሪሌው ስፒከርህን እየጠበቀልህ ነው። ከሪሌው በፊት ባለው ነጥብ ላይ በየቻናሉ ዲሲ ለካ። ከ20 ሚሊቮልት በታች በጣም ጥሩ፣ እስከ 50 ይታለፋል። ቮልት ድረስ ከሄደ ስፒከር አይገናኝ። መጀመሪያ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ኃይሉ ሁለቱም መኖራቸውን እይ፤ አንዱ የውስጥ ፊውዝ ሲቃጠል ውጤቱ ወደ ሌላው ጎን ይጎተታል።

የዚህ ሞዴል የኃይል ማውጫ ሁለት ኤስቲኬ-0050 ናቸው (የማጉያው ክፍሎች በአንድ ላይ የታሸጉበት ጥቅል)፣ ለየቻናሉ አንድ። ኦሲሎስኮፕ ባይኖርህም ደህናው ቻናል መለኪያህ ነው፤ የእያንዳንዱን እግር ቮልት በደህናው ጻፍ፣ ከሌላው ጋር አስተያይ፣ የሚለየው የት እንደሆነ ራሱ ይነግርሃል። ኤስቲኬው ከሞተ "አዲስ" ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውን አትመን፣ አስመስለው የሚሠሩት ሞልቷል። ከሌላ አሮጌ ሪሲቨር የተነቀለ ኦሪጅናል ይሻላል። ጀርባው ላይ ቀጭን የሙቀት ቅባት ቀባ፣ ሁለቱን ብሎን ተራ በተራ ትንሽ በትንሽ አጥብቅ፤ አንዱን ቀድመህ ከጨረስክ ይሰነጠቃል።

ሪሌው "ጠቅ" ብሎ ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን መገናኛው ጠቁሯል። በአልኮል የራሰ ተራ ወረቀት በመገናኛዎቹ መሃል አስገብተህ በቀስታ ሳብ። የብርጭቆ ወረቀት አይሆንም፣ ስሱን የብር ሽፋን ይበላዋል።

የመስታወት ነገር

ኤልኢዲውን ቀላል አታድርገው። የፋብሪካው ብርሃን ሞቃታማ ነው፤ ቀዝቃዛ ነጭ ኤልኢዲ ካስገባህ ፊቱ የሌላ ዕቃ ፊት ይመስላል። ከቀየርክ ሞቃታማ ነጭ፣ በኤሲ የሚሠራ ምረጥ፣ አለዚያ ይርገበገባል። የእኔ ምርጫ አሮጌው አምፖል ነው፤ ቮልቱን ከላዩ አንብበህ ተመሳሳዩን ግዛ። በ110 ስለምትሠራ ትንሽ ደብዘዝ ይላል፣ ዕድሜው ግን በጣም ይረዝማል።

ቨርጂኒያ ያለሁ

ኤፍኤም ስላልተነሳ፦ የአሜሪካ ሪሲቨር የኤፍኤም ትሬብሉን የሚቀንሰው በ75 ማይክሮሰከንድ ነው፣ የእናንተ ጣቢያዎች ደግሞ በ50 ነው የሚያስተላልፉት። ስለዚህ ድምፁ የታፈነ ይመስልሃል። ከስቴሪዮ ዲኮደሩ ቀጥሎ በየቻናሉ ያለውን ካፓሲተር በሁለት ሦስተኛው ተካ፤ 0.01 ማይክሮፋራድ ከሆነ 0.0068 አድርገው። የመርፌውን ቦታ በፋና 98.1 እና በሸገር 102.1 አረጋግጥ። ሁለቱም እኩል ወደ አንድ ጎን ከሳቱ መርፌውን ክሩ ላይ ትንሽ አንሸራት። የአይኤፍ ጥቅሎቹን (ጣቢያውን የሚያጣሩትን ትንንሽ የሽቦ ጥቅሎች) ውስጥ ግን በመፍቻ አትነካካ፣ ፌራይቱ ይሰበራል፣ ለማስተካከልም መሣሪያ ይጠይቃል። አንቴናው ለዚያ አካባቢ 1.45 ሜትር የሆነ ዳይፖል ይበቃል።

45 ዋቱን ለመለካት፦ በስፒከር ፋንታ 8 ኦም፣ 100 ዋት ሬዚስተር አገናኝ፣ ከስልክህ 400 ኸርዝ ንጹሕ ሞገድ በኦክስ አስገባ፣ ቮልዩሙን ቀስ እያልክ ጨምር። 45 ዋት በ8 ኦም 19 ቮልት ኤሲ ነው፤ በ110 ስትሠራ 17.4 አካባቢ ጠብቅ። ቮልዩም ስትጨምር ንባቡ ማደጉን እየቀነሰ ከመጣ ሞገዱ መቆረጥ ጀምሯል፣ መልስ። ሬዚስተሩ በጣም ይሞቃልና ልኬቱን በሰከንዶች ጨርስ፣ ሁለተኛውንም ቻናል እንደዚሁ። ሁለቱ ተቀራራቢ ካልሰጡ ቁጥሩን እዚህ ጻፍልን፣ አብረን እንፈልገዋለን።