የግቢ የእንጨት ርብራብ ለቤት ሽያጭ ይጠቅማል ወይ? ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ ረቂቅ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ የጅማ የቤት ማኅበራችን አባላት፣ ለኅዳሩ ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን የግቢ ማሻሻያ ሐሳብ ከዛሬ ጀምሮ እዚሁ እንቅረጽ። መነሻው በጥር ቤታቸውን ለመሸጥ ያሰቡ ሁለት አባላት ያነሡት ጥያቄ ነው። ከሳሎን በር ፊት ለፊት የእንጨት ርብራብ ወለል፣ ማለትም ከመሬት ከፍ ብሎ ጣውላ በክፍተት የሚደረደርበት የውጭ መቀመጫ፣ ብናሠራ ገዢ ይስባል ወይ? ማኅበሩ እንጨቱን በአንድ ላይ ገዝቶ ከአናጺ ጋር በአንድ ላይ ቢዋዋልስ ወጪው ይቀንሳል ወይ? የመጀመሪያው ረቂቅ ይህ ነው፦ «ማኅበሩ ለሚፈልግ አባል ሁሉ 3 በ4 ሜትር የሆነ የእንጨት ወለል በጋራ ግዢ ያሠራል፤ ይህም የቤቱን ዋጋ ይጨምራል።» አርሙት፣ አስፉት፣ ካስፈለገም ጣሉት። «ጥሩ ነው» ወይም «አይሆንም» የሚል አባል ግን ምክንያቱንም ይጻፍልን።

በድለላ ሥራ የምተዳደረው አባል፦
እህቴ፣ ብዙ ሰው በልቡ ይዞት የቆየውን ጥያቄ ስላነሣሽው አመሰግናለሁ። ቤት ሳሻሽጥ የማየውን ልንገራችሁ። ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ካርታውን ነው። ካርታው ንጹሕ ከሆነ ስለ ውኃውና ስለ ድንበሩ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ በክረምት መኪና እስከ በሩ ይገባ እንደሆነ ያጣራል። ግቢው ተራ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ርብራብ የጎደለ ካርታ አያሟላም፣ የጠበበ መንገድም አያሰፋም። ይህን ለሁለቱ ሻጮች በግልጽ ልንነግራቸው ይገባል።

ያም ሆኖ ግቢው ትንሽ ነገር አይደለም። የእኛ መስመር ቂጦ ወደሚባለው ቦታ ያዘቀዘቀ ረባዳ ስለሆነ ዝናብ ከጣለ ከአጥር በር እስከ ሳሎን በር ጭቃ ነው። ገዢው ሚስቱንና እናቱን ይዞ ይመጣል። እናትየዋ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ሲረግጡ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ውስጡ የቱንም ያህል ቢያምር ድርድሩ «የግቢውን ማስተካከያ ቀንሱልኝ» በሚል ይጀመራል። ደረቅ መቀመጫ ያለው ግቢ ሲሆን ግን ወንበር ይወጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ሰውየው ከነቤተሰቡ ሲኖርበት ይታየዋል። ስለዚህ በእኔ እምነት ርብራቡ የሚያስቀረው በድርድር ላይ የሚቀነሰውን ገንዘብ ነው፤ በራሱ ዋጋ ከፍ አያደርግም። «የቤቱን ዋጋ ይጨምራል» የሚለው ሐረግ ከረቂቁ ይውጣ። ቃል ገብተንለት ሳይሆን የሚቀር አባል በኋላ ማንን ይጠይቃል?

ከለንደን የምጽፈው አባል፦
ጋሼ እውነታቸውን ነው። እዚህ እንግሊዝ አገር ይህ ወለል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ የቴሌቪዥን የአትክልት ፕሮግራሞች ካስተዋወቁት ወዲህ በየጓሮው ተዳረሰ። የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ላይም ራሱን ችሎ ይጻፋል። ገዢው የሚወደው ግን ከቤት ወጥቶ ደረቅ ቦታ ላይ የሚቀመጥበት ስፍራ ማግኘቱን ነው፤ እንጨቱ መሆኑ ብቻውን አያስደስተውም። አሜሪካም ቢሆን የወጣው ገንዘብ በሽያጭ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። የበሰበሰ ወይም የሚወዛወዝ ከሆነማ ገዢው የማፍረሻውን ሒሳብ ጨምሮ ይከራከራል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጅማን ስለማውቃት ያሳስበኛል። የእዚህ አገር እርጥበት እንጨቱ ላይ አረንጓዴ ሽበት ያበቅላል፤ ከዝናብ በኋላ ሰው ያንሸራትታል። ብዙዎች ጣውላው ላይ ያለው ቦይ መንሸራተትን ይከላከላል ብለው ያስባሉ፤ ነገር ግን ቦዩ ውኃና ቆሻሻ ይይዛል። በየዓመቱ ማጠብ፣ በየአንድ ሁለት ዓመቱ ዘይት መቀባት ግድ ነው። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ይህ ከለንደን እጥፍ በላይ ነው። እዚህ ያስቸገረ ነገር እዚያ እንዴት አይብስ?

የሁለተኛው መስመር ተጠሪ፦
እኔ እንደ ወንድማችን አስተያየት ሐሳቡን እንዳንጥለው እፈራለሁ። የሲሚንቶ ሊሾ ወለልም እኮ ያንሸራትታል፤ ከዚያም በላይ ውኃውን ወደ ግድግዳ ይመልሳል። ርብራብ ቢያንስ ውኃ ያሳልፋል፣ የአቮካዶውንና የቡናውን ሥር አይዘጋም። ባለሙያ ይናገር።

አናጺው አባል፦
ስለተጠራሁ በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ሥራው በዝርዝሩ ነውና የሚበላሸው።

መጀመሪያ እንጨቱ። ዋንዛ ይሁን የሚሉ አባላት አሉ። ዋንዛ የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ የምናወጣበት እንጨት ነው፤ ጭቃ ለሚረገጥበት ወለል ማዋል ያሳዝነኛል። ደግሞም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች መካከል አስቀምጦት ነበር። አዋጁ ከዚያ ወዲህ በአዲስ ቢተካም የአገር በቀል ዛፍ ጣውላ ያለ ሕጋዊ ወረቀት መግዛት ማኅበሩን ችግር ውስጥ ይከተዋል። የሚቀረን ባህር ዛፍ ነው። ጠንካራ ነው፤ ግን ታግሦ ለሚያደርቀው ብቻ። እርጥቡን ዛሬ ሰንጥቀው ነገ ቢመቱት በታኅሣሥ ፀሐይ ይጣመማል፣ ምስማሩን ይዞ ይነሣል። በጥላ ሥር፣ በየጣውላው መካከል ቀጫጭን እንጨት ተደርጎ ነፋስ እያገኘ ለወራት መቆየት አለበት። በጋራ የመግዛት ትልቁ ጥቅም የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ሰው ለአንድ ቤት ይህን ትዕግሥት አያገኝም፣ ማኅበሩ ግን መጋዘን አለው።

ሁለተኛው ምስጥ ነው። እባካችሁ ቋሚውን መሬት ውስጥ አትቅበሩት። ሬንጅም ይቀባ የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ አፈር የነካን ቋሚ ምስጥ መብላቱ የጊዜ ጉዳይ ነው። ቋሚው ከመሬት ከፍ ባለ የኮንክሪት እግር ላይ፣ በብረት ጫማ ይቀመጥ። ምስጥ ወደ ላይ ለመውጣት በኮንክሪቱ ላይ የአፈር መሿለኪያ መሥራት ግድ ይሆንበታል፤ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ያገኘዋል፣ በመጥረጊያ ያፈርሰዋል። ስለዚህ የወለሉ ሥር በጣውላ አይታፈን። ክፍት ይሁን፣ ነፋስም ይግባበት፣ ዓይንም ይድረሰው። የተቃጠለ ዘይት ደግሞ የሚረገጠው ጣውላ ላይ ጨርሶ አይቀባ፤ ልጆች በባዶ እግራቸው ይሄዱበታል፣ ዝናቡም አጥቦ ወደ ጉድጓድ ውኃችን ይወስደዋል። በፋብሪካ በግፊት መድኃኒት የተነከረ እንጨት ከተገዛም ቁራጩ ለማገዶ አይሁን። ያ መድኃኒት አርሴኒክ ሊኖረው ይችላል፤ ጭሱም አመዱም ለጤና አደገኛ ነው። ይህ በረቂቁ ውስጥ በጉልህ ይጻፍልኝ።

ሦስተኛው ልኩ። ለ3 በ4 ሜትር፣ የጣውላው ስፋት 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና በመካከሉ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ብንተው፣ ባለ 4 ሜትር 28 ጣውላ ይፈጃል። ከሥሩ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ የሚደረደር ሞራሌ 11 ነው። ከዚህ ከተሰረቀ ወለሉ ይወዛወዛል፤ ገዢ መጀመሪያ የሚያደርገው ደግሞ በእግሩ ረገጥ ረገጥ ማድረግ ነው። ምስማር ሳይሆን በካቻቢቴ የሚጠብቅ ዝገት የማይዘው ብሎን ይሁን። ወለሉ ከቤቱ ግድግዳ ወደ ውጭ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ያዘንብል።

መምህርቷ፦
ወንድሜ አናጺ፣ እጅህ ይባረክ። እኔ ሁለት ነገር ላክል። በብዙዎቻችን ግቢ የመጸዳጃ ጉድጓዱ ክዳን ሳሎኑ ፊት ለፊት ነው። ርብራቡ ከላዩ ከተሠራ መምጠጫ መኪናው ሲመጣ ምን ልናደርግ ነው? የጉድጓዱ ክዳን ያለበት ቦታ የሚነሣ ክፍል ይኑረው፤ ሻጩም የት እንዳለ ለገዢው ያሳየው። እርጥበት ወይም ስንጥቅ ለመሸፈን ተብሎ የሚሠራ ወለል በማኅበራችን ስም አይሠራ። ገዢው ነገ ጎረቤታችንና የዕድራችን አባል የሚሆን ሰው ነው።

ሁለተኛው ቡናችን ነው። ሁላችንም እዚያ ላይ ቡና ማፍላታችን አይቀርም፤ የከሰል ምድጃ ደግሞ ብልጭታ ይተፋል። ከወለሉ አንድ ጥግ ላይ ሜትር በሜትር የሆነ የድንጋይ ንጣፍ ይተው፣ ምድጃው እዚያ ይቀመጥ። የተጎዘጎዘ ቄጠማም በዚያው ዕለት ተጠርጎ ይነሣ፤ ካደረ እርጥበቱን ይዞ ጣውላውን ያበሰብሰዋል።

ጡረተኛው አባል፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁም ደግ ተናግራችኋል። ግን ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እንደገና እዩት። ዳግማዊ አባ ጅፋር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 የገዙ ሰው ናቸው፤ በዚያ ዘመን የተሠራው የእንጨት ሰገነት ዛሬም ቆሟል። ጥገና ተደርጎለታል፣ ልክ ነው። ነገር ግን ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ወጥቶ እንጨቱን ጥላ ሥር አድርጎታል፤ ቆርቆሮም ሆነ ሣር ሳናለብሰው ሜዳ ላይ የምናሰጣው ጣውላ ያንን ዕድሜ ከየት ያመጣዋል? በዚህ አገር ዝናብ ከበልግ እስከ መስከረም ማብቂያ፣ አንዳንዴም አልፎ ይዘልቃል። ጣሪያ የሌለው ወለል ላይ በዓመት ስንት ወር ልንቀመጥ ነው? እኔ የምለው፣ ስፋቱ ይቀነስና ጣሪያ ይኑረው።

ገንዘብ ያዡ፦
አባባ ትክክል ናቸው፤ በገንዘቡም በኩል የሚያዋጣው ይኸው ነው። 2 በ3 ሜትር ቢሆን የእንጨቱ መጠን በግማሽ ይወርዳል፤ የተረፈው ለቆርቆሮውና ለአሸንዳው ይውላል። ሌላው ጉዳይ የጋራ ቦያችን ነው። ቦዩ በደለል ተሞልቶ ውኃው በየግቢያችን ሲተኛ፣ ከወለሉ ሥር ያለው አፈር በክረምት አይደርቅም። ቦዩ ሳይጠረግ የማኅበሩ ገንዘብ ለአንድም ጣውላ እንዲወጣ ድምፄን አልሰጥም።

በጥር ከምንሸጠው አንዷ፦
ሁሉንም በጥሞና አነበብኩ። ልጆቼን ያሳደግሁበት ቤት ነው፤ ከእኔ በኋላ የሚገባው ሰው እንዳይረግመኝ እፈልጋለሁ። ጣውላው እስኪደርቅ ወራት የሚፈጅ ከሆነ ለጥር አይደርስልኝም። ጋሼ ደላላ፣ እርስዎ ቢሆኑ በዚያች ገንዘብ ምን ያደርጋሉ?

በድለላ ሥራ የምተዳደረው አባል፦
እትዬ፣ ከአጥር በር እስከ ሳሎን በር የጥርብ ድንጋይ መንገድ ያስነጥፉ፣ የተሰነጠቀውን በረንዳ ያስጠግኑ፣ አሸንዳውን ያስቀይሩ። ርብራቡን ለገዢው ይተዉለት። በጥር መሬቱ ደረቅ ነው፤ ጠንቃቃ ገዢ ግን «ክረምት ላይ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መንገዱ መልስ ይሆንልዎታል። የድንጋይ አንጣፊ እኔ አመጣልዎታለሁ፣ ለዚህ ምንም አልጠይቅዎትም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። የተባለውን ሁሉ ይዤ ሁለተኛውን ረቂቅ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

«ማኅበሩ በቅድሚያ የጋራ ቦዩን ከመጋቢት በፊት ያስጠርጋል። ከዚያ በኋላ ሕጋዊ ወረቀት ያለው የባህር ዛፍ ጣውላ በጋራ ገዝቶ በመጋዘኑ ያደርቃል። የመጀመሪያው ወለል በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ፊት፣ 2 በ3 ሜትር ሆኖ ከነጣሪያው ይሠራል፤ አንድ ሙሉ ክረምት አልፎበት እስኪታይ ድረስ በአባላት ግቢ የሚሠራ አይኖርም። ቋሚዎቹ በኮንክሪት እግር ላይ ይቆማሉ፤ የወለሉ ሥር ክፍት ይሆናል፤ የመጸዳጃ ጉድጓድ ክዳን አይሸፈንም፤ ለከሰል ምድጃ የድንጋይ ንጣፍ ይተዋል። በመድኃኒት የተነከረ እንጨት ቁራጭ ለማገዶ አይውልም። ማኅበሩ ወለሉ የቤት ዋጋ ይጨምራል ብሎ ለማንም ቃል አይገባም። ቤቱን የሚሸጥ አባል ወለሉ መቼ እንደተሠራና መቼ ዘይት እንደተቀባ የሚገልጽ ወረቀት ለገዢው ያስረክባል።»

የሁለተኛው መስመር ተጠሪ፦
እስማማለሁ። «በአባላት ግቢ የሚሠራ አይኖርም» የሚለው ግን በራሱ ገንዘብና በራሱ ኃላፊነት መሥራት የሚፈልገውን መከልከል የለበትም። «በማኅበሩ ገንዘብ» የሚል ይጨመርበት።

አናጺው አባል፦
እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ በራሱ የሚያሠራ አባል ካለ ግን ቋሚው ከመቆሙ በፊት ይጥራኝ፣ በነጻ አይለታለሁ። የጽሕፈት ቤቱንም ወለል ጉልበቴን በነጻ እሠራለሁ፤ ጣውላው ደርቆ ይድረሰኝ እንጂ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሁለቱም ገብተዋል። ገንዘብ ያዡ የቦይ ጠራጊዎችን የዋጋ ማቅረቢያ፣ አናጺው የእንጨቱን ዝርዝር እስከ ጥቅምት 20 ያስገቡልኝ፤ በማግሥቱ አባዝቼ ለየመስመሩ ተጠሪ አድላለሁ።