የቤት ፊውዘር፦ ፕላዝማው ሁሉን ሞላው እንጂ «ኮከቡ» አልወጣም

ጥያቄ | ሐምራዊ
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነኝ። የምሠራው ለማሳያ የሚሆን ፊውዘር ነው፤ ፊውዘር በከፍተኛ ቮልቴጅ አተሞችን እያጋጨ ኑክሌር ውህደት የሚሞክር መሣሪያ ነው። የእኔ ውስጡ አየር ብቻ ነው፣ ለውህደቱ የሚያስፈልገው ዲዩተሪየም (ከባዱ ሃይድሮጅን) የለውም። ቻምበሩ 15 ሴ.ሜ ስፋት ያለው የአይዝጌ ቧንቧ ነው፤ አንዱ ጫፍ ብረት፣ ሌላው 25 ሚ.ሜ አክሪሊክ። ፓምፑ የፍሪጅ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ደብል ስቴጅ ነው፣ ቱቦውም አብሮት የመጣው ቢጫው። ኃይሉ ከ9 ኪሎ ቮልት 30 ሚሊ አምፔር የኒዮን (የማስታወቂያ መብራት) ትራንስፎርመር በዳዮድ ይወጣል። ግሪዱ፣ ማለትም ቻምበሩ መሃል ሆኖ ከፍተኛ ቮልቴጁን የሚይዘው የሽቦ ቤት፣ ከ0.8 ሚ.ሜ የአይዝጌ ሽቦ የተሠሩ፣ 4 ሴ.ሜ ስፋት ያላቸው ሦስት ቀለበቶች ናቸው። ቮልቴጁን ወደ ውስጥ የሚያስገባው የመኪና ካንዴላ ነው።

ስለኩሰው ሐምራዊ ብርሃን ቻምበሩን በሙሉ ይሞላዋል፤ ከግሪዱ ይልቅ ከካንዴላው የሚወርደው ዘንግ ደምቆ ያበራል። ጌጁ −0.76 ባር ላይ ቆሟል፣ ከዚያ አልፎ አይወርድም። ፓምፑ ደክሞ ይሆን? ኮከቡ (በግሪዱ መሃል የሚታየው፣ ጨረር የሚረጭ ደማቅ ነጥብ) ከወጣልኝ ቀጥሎ ዲዩተሪየም ልጨምርበት አስባለሁ።

መልስ 1 | ሚሊባር
ፓምፑን ተወው፣ ጌጁ ነው ያሳሳተህ። ይህ ባለ መርፌ ጌጅ የሚያሳየው በውጭው አየርና በውስጡ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የውጭው ግፊት ራሱ ወደ 0.77 ባር ነው። ፍጹም ባዶ ብታደርገው እንኳ መርፌው −1 አይደርስም። ለአንተ ሥራ ቁም ነገሩ ያለው ደግሞ ከመጨረሻዋ ሺህኛ ባር በታች ነው፣ መርፌው እዚያ ዕውር ነው። የፍሪጅ ባለሙያዎች የሚይዙትን ዲጂታል ማይክሮን ጌጅ ግዛ፤ ማይክሮን የዝቅተኛ ግፊት መለኪያ ነው፣ አንድ ሺህኛ ባር 750 ማይክሮን ገደማ ነው። ስትገጥመው ከግሪዱ ፊት ለፊት አታድርገው፤ በብረት ክርን አዙረህ፣ በመካከል ቫልቭ አድርግበት። ከፍተኛ ቮልቴጅ አንዴ ከዘለለበት አለቀለት፣ የፓምፕ ዘይት ከገባበት ደግሞ ይዋሻል።

ከምትገልጸው ብርሃን ስገምት ግፊትህ 300 ማይክሮን አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። በ300 ማይክሮን አንድ የአየር ሞለኪውል ሌላውን ሳይገጭ የሚሄደው ከ0.2 ሚ.ሜ በታች ነው። አየሩ በየቦታው በቀላሉ ይለኮስና ትራንስፎርመሩን እንደ ሾርት ያስጨንቀዋል፤ ቮልቴጁ ወደ መቶዎች ይወርዳል። ኪሎ ቮልት ሳይኖር ኮከብ የለም። ወደ 30 ማይክሮን ስትወርድ ያ ርቀት አሥር እጥፍ ይሆናል፣ ቮልቴጁ ይነሳል፣ ጨረሮቹም በሽቦዎቹ ክፍተት መውጣት ይጀምራሉ። አንተ ባለህ ቮልቴጅ ከ40 እስከ 60 ማይክሮን ፈልገው። በጣም ከወረደ ደግሞ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ በመርፌ ቫልቭ ጥቂት አየር ታስገባለህ።

መልስ 2 | ጓርኒሲዮን
ቢጫው ቱቦ! ውስጡ 6 ሚ.ሜ ገደማ ነው፣ ላስቲኩም ራሱ ጋዝ ይተፋል። በዝቅተኛ ግፊት የቱቦ ስፋት በእጥፍ ሲጨምር የማሳለፍ አቅሙ ቢያንስ ስምንት እጥፍ ያድጋል። 25 ሚ.ሜ የሆነ፣ በተቻለ መጠን አጭር የብረት ቱቦ አድርግ።

ከዚያ ፓምፑን አሙቀው፤ የጋዝ ባላስቱን (ፓምፑ ላይ ጥቂት አየር የምታስገባውን ቫልቭ) ከፍተህ 20 ደቂቃ አስነሳው፣ ዘይቱ የያዘውን እርጥበት ያወጣል። ዘይቱ ወተት መስሎ ከሆነ ቀይረው። ኦሪንጉ (ክብ የላስቲክ ማሸጊያው) ላይ ቴፍሎን ቴፕ አትጠቅልል፣ ስስ የቫኩም ቅባት ይበቃዋል። ሲሊኮን ማስቲሽ ለቀናት ይተናል።

አየር የሚያስገባ ቀዳዳ መኖሩን ለማወቅ ፓምፑን በቫልቭ ለይና አምስት ደቂቃ ቁጥሩን ጻፍ። ቁጥሩ በእኩል ፍጥነት ሳይቆም ከወጣ ቀዳዳ አለ። ፈጥኖ ወጥቶ ከዚያ እየዘገመ ከተኛ ግን እርጥበትና ቅባት ነው፣ እያፈሱ መጠበቅ ብቻ ነው መድኃኒቱ። ብዙ ሰው አልኮል እየረጨ ጌጁ ሲዘል ቀዳዳውን ያገኛል፤ ይሠራል፣ ግን ኃይሉ ጠፍቶ፣ እና በምንም ዓይነት አክሪሊኩ አጠገብ አይሁን። የተወጠረ አክሪሊክ አልኮል ሲነካው እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል፣ አሴቶንማ አይነሳ። ያቺ 15 ሴ.ሜ መስኮት በአዲስ አበባ አየር እንኳ ወደ 140 ኪሎ ተሸክማለች። ፊትህን በሺልድ ሸፍን።

መልስ 3 | ቫልቮላ
ስለ ኤሌክትሪኩ ማንም አላነሳም። የኒዮን ትራንስፎርመር የመካከል ጫፉ ከቆርቆሮው ጋር የታሰረ ነው፤ ስለዚህ አንዱን ጫፍ ኤርዝ አድርገህ ሌላውን ብቻ መጠቀም አይሆንም። ሁለቱንም ጫፎች በዳዮድ አሳልፈህ አገናኛቸው፤ የዳዮዱ ካቶድ ወደ ትራንስፎርመሩ፣ አኖዶቹ ተገናኝተው ወደ ግሪዱ። ግሪዱ እስከ 6.4 ኪሎ ቮልት ኔጌቲቭ ይሆናል። እያንዳንዱ ወገን ግን በተቃራኒው 12.7 ኪሎ ቮልት ይችል ዘንድ አለበት፤ የማይክሮዌቭ ዳዮድ 12 ብቻ ስለሆነ በየወገኑ ሁለት ሁለት በተከታታይ እሰር። እነዚህን ዳዮዶች ተራ መልቲሜትር «ተበጥሷል» ይልሃል፣ አትመነው፤ ባለ 9 ቮልት ባትሪ በተከታታይ አስገብተህ ለካ።

ትራንስፎርመሩ ኤሌክትሮኒክ ከሆነ በብዙ ሺህ ኸርዝ ስለሚሠራ እነዚህ ቀርፋፋ ዳዮዶች ይቃጠሉበታል። የኤርዝ መከላከያ ያለው አዲስ ዓይነትም በዚህ አሠራር ወዲያው ያጠፋል። ከአሜሪካ የመጣ ባለ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ከሆነ በእኛ 50 ኸርዝ ከ100 ቮልት በላይ አትስጠው፣ ብረቱ ይጠግብና ይግላል። ካፓሲተር አትጨምር፤ በሴኮንድ መቶ ጊዜ የሚበራውን ዓይን አይለየውም፣ ቻርጅ የያዘ ካፓሲተር ግን ጠፍቶም ይገድላል። 30 ሚሊ አምፔርም ቀልድ አይደለም፦ ቻምበሩና የትራንስፎርመሩ ቆርቆሮ በወፍራም ሽቦ እውነተኛ ኤርዝ ላይ ይታሰሩ። ኤርዝ የሌለው ቤት ከሆነ ሥራው እዚያው ይቁም። የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር ላሰበ ደግሞ፦ ተወው።

ካንዴላው ሬዚስተር የሌለው ዓይነት ይሁን። ዘንጉን እስከ ግሪዱ ድረስ በአሉሚና ሴራሚክ ቱቦ አልብሰው፣ ያ የሚያበራው እሱ ስለተገለጠ ነው።

ሐምራዊ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የዲዩተሪየሙስ ነገር?

ሚሊባር
በ6 ኪሎ ቮልት ዲዩተሪየም ማስገባት ጋዝ ማባከን ነው። ሐሳቡን ያመነጨው ፊሎ ፋርንስዎርዝ፣ ያው የቴሌቪዥኑ ሰው ነው፤ ሮበርት ኸርሽም በ1967 ውጤቱን ሲያሳትም የሠራው በብዙ አሥር ኪሎ ቮልት ነው። ከውህደቱ የሚወጣውን ኒውትሮን ለመቁጠር በተግባር ከ20 ኪሎ ቮልት በላይ ያስፈልጋል፣ ቻምበሩም መጀመሪያ በዲፊውዥን ወይም በተርቦ ፓምፕ (ከአንተው እጅግ ወደ ዝቅተኛ ግፊት በሚያወርዱ ፓምፖች) ይጸዳል። ያኔ አክሪሊኩ ከኤክስሬይ አይጋርድህም፤ ሙሉ ብረት ቻምበር፣ በመስኮት ፈንታ ካሜራ ይመጣል። ያ ሌላ ማሽን ነው። በዚህኛው ከ10 ኪሎ ቮልት አትለፍ።

ጓርኒሲዮን
አንድ የረሳነው፦ መብራት ሲጠፋ። ፓምፑ ሲቆም ቫኩሙ ዘይቱን ወደ ቻምበሩ ይስበዋል፤ በመካከል መብራት ሲጠፋ ራሱን የሚዘጋ ሶሌኖይድ ቫልቭ አድርግ።

ቫልቮላ
መብራቱ ሲመለስም ከፍተኛ ቮልቴጁ በራሱ እንዳይነሳ ኃይሉን በኮንታክተርና በስታርት በተን አሳልፈው። ሰው እጁን ያስገባው መብራት የለም ብሎ ሊሆን ይችላል።