ሮላይ 35፦ ሌንሱ አልገባ አለ፣ እጀታውም መሃል ላይ ቆመ፤ ነገ ጠዋት ያስፈልገኛል

ተጓዥ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የያዝኩት ካሜራ ቴሳር ሌንስ ያለው የመጀመሪያው ዓይነት ሮላይ 35 ነው። ሰሞኑን ምንም ችግር አልነበረበትም፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ግን ሌንሱን መልሼ ላስገባ ስል እምቢ አለኝ። ከላይ ያለችውን ትንሽ መልቀቂያ ቁልፍ ተጭኜ ሌንሱ ያለበትን ቱቦ ላዞር ብሞክርም ከቦታው ንቅንቅ አይልም። በግራ በኩል ያለው የፊልም መሳቢያ እጀታ ደግሞ እስከ መሃል ይሄድና ቀጥ ይላል። ሁለት ጊዜ ጠንከር አድርጌ ገፋሁት፤ በሦስተኛው የአውራ ጣቴ ቆዳ ተላጠ። ካሜራውን አጎቴ ነው የሰጠኝ፤ የአጠቃቀም መመሪያ የለውም። ነገ ጠዋት ለጉዞ እነሣለሁና ሌንሱ ወጥቶ ሳለ በኪስ መያዝ አይቻልም። በቱቦው ዙሪያ ጥቂት የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ላድርግበት? ወይስ በፒንሳ ያዝ አድርጌ ላዙረው? እንዲህ በቀላሉ የሚነክስ ካሜራ ለምን እንደሚወደስም ሊገባኝ አልቻለም። እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ።

ጥቁር መጋረጃ

ዘይቱንም ፒንሳውንም ካሉበት አያንሷቸው። በዚህ ካሜራ የሸተሩ፣ ማለትም ብርሃን ወደ ፊልሙ ለቅጽበት የሚያሳልፈው በር፣ ቅጠሎች ያሉት እዚያው ቱቦው ውስጥ ነው። ቅጠሎቹ ከወረቀት የማይወፍሩና ደረቅ ሆነው እንዲሠሩ የታሰቡ ናቸው። በቱቦው ዙሪያ የተጨመረ ዘይት ባስቀመጡት ቦታ አይቆይም፤ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ቅጠሎቹም እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። ያን ጊዜ ዛሬ ያለብዎት አንድ ችግር ሁለት ይሆናል፤ ሁለተኛው ደግሞ ካሜራውን ሙሉ በሙሉ ሳይፈቱ አይድንም።

ሳቂታው

ካሜራው ምላሱን አውጥቶ እየሳቀብዎት ነው። ፒንሳ ሲያይ ግን ሳቁን እንደሚያቆም አልጠራጠርም።

ብርሃን ለካ

በጣም ቀላል ነው። ከላይ ያለችውን ቁልፍ ይጫኑ፣ ቱቦውን ሲያወጡት ካዞሩበት በተቃራኒ ያዙሩት፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ይግፉት።

ተጓዥ

ወንድሜ፣ ጥያቄዬን አንብበውት ቢሆን ይህንኑ እንዳደረግሁ ያዩ ነበር። ቁልፏን ተጭኜ አዙሬአለሁ። አይዞርም።

አሮጌ መካኒክ

ልጄ፣ ቸኩለህ በካሜራው ላይ ከመፍረድህ በፊት በእጅህ የያዝከው ምን እንደሆነ ላስረዳህ። ይህን ካሜራ የነደፈው ሃይንትስ ቫስከ የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። ቪርጊን በሚባል ድርጅት ሲሠራ በትርፍ ጊዜው ነበር የጀመረው፤ ወደ ሮላይ ካመጣው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1966 በኮሎኝ የፎቶኪና ትርዒት ለሕዝብ ቀረበ። ስፋቱ 97፣ ቁመቱ 60፣ ውፍረቱ 32 ሚሊሜትር ገደማ ሆኖ 24 በ36 ሚሊሜትር የሆነውን ሙሉ ምስል ያነሣል።

ትልቁ እንቅፋት ሸተሩ ነበር። በሌንስ መካከል የሚቀመጥ ሸተር ቅጠሎቹ ትንሽ ቦታ ቢበቃቸውም፣ ፍጥነቱን የሚቆጣጠሩት ጥርሳም ጎማዎችና ሞላዎች በዙሪያው እንደ ወፍራም ቀለበት ተከምረው ይቀመጣሉ፤ ያንን ቀለበት እንዳለ ቱቦው ላይ ብታስቀምጠው ሌንሱ ወደ ውስጥ መግባቱ ይቀራል። ከዚያ በፊት የነበሩት ተጣጣፊ ካሜራዎች ሸተሩን ከነሌንሱ በበር ላይ ተክለው በሚታጠፍ ቆዳ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወስዱት ነበር። ሌይካ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ሲቀርብ ሸተሩ በፊልሙ ፊት የሚሮጥ ጨርቅ ስለነበረ፣ ሌንሱ ያለ አንዳች ጣጣ ገብቶ ይወጣ ነበር። ቫስከ ያደረገው ግን ሸተሩን ለሁለት መክፈል ነው፦ ቅጠሎቹን ከቱቦው ጋር እንዲንቀሳቀሱ ፊት ላይ ተዋቸው፣ ፍጥነት ቆጣሪውን ማሽን ግን በካሜራው አካል ውስጥ አስቀረው። በፊት ገጽ ላይ ከሌንሱ ግራና ቀኝ የምታያቸው ሁለት ክብ መደወያዎችም በሌንሱ ዙሪያ ቀለበት ለመደርደር ቦታ ስለሌለ የመጡ ናቸው።

ስለዚህ ቱቦው ሲገባና ሲወጣ እነዚህ ሁለት ክፍሎች ይለያያሉ፣ ተመልሰውም ይገናኛሉ። ይህም የሚሆነው ሸተሩ ተወጥሮ ሲገኝ ብቻ ነው። እጀታውን እስከ መጨረሻው ሳብከው ማለት ፊልሙንም አሳለፍክ፣ ሸተሩንም ወጠርክ ማለት ነው። ሸተሩ ካልተወጠረ ቱቦው አይዞርም። ሌንሱ ገብቶ ሳለ ደግሞ የፎቶ ማንሻው ቁልፍ ተቆልፎ አያነሣም። በቀላሉ ይነክሳል ያልከው ካሜራው ራሱን ከአንተ ጉልበት የሚጠብቅበት መቆለፊያ ነው።

ሳቂታው

ጋሼ መካኒክ፣ ሰውየው እኮ ነገ ጠዋት ነው የሚሄደው፤ እኛ ገና 1966 ላይ ነን።

ኪሴ ውስጥ

እኔ በጥያቄው መነሻ አልስማማም። ሌንሱ የግድ መግባት አለበት ያለው ማን ነው? ወፍራም ካልሲ ውስጥ ከትተው በቦርሳ ይያዙት። ለኪስ ብቻ የሚፈልጉ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው የመረጡት ካሜራ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣውና ዮሺሂሳ ማይታኒ የነደፈው ኦሊምፐስ ኤክስኤ ወደ ውጭ የሚወጣ ሌንስ የለውም፤ ከፊተኛው መስታወት እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት ከሌንሱ የትኩረት ርዝመት፣ ማለትም ከ35 ሚሊሜትር እንኳ ያንሳል። ተንሸራታቹን ሽፋን በአንድ ጣት ገፍተው ይከፍታሉ፣ በአንድ ጣት ይዘጋሉ፤ ቱቦ ማዞር፣ ቁልፍ መጫን፣ መወጠር የሚባል ነገር የለበትም። የተለየ የሌንስ ክዳን ስለሌለውም ክዳን ጠፋብኝ ብሎ የሚያለቅስ ሰው አይገኝም።

አሮጌ መካኒክ

ኤክስኤ ድንቅ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ባትሪው ያለቀ ቀን ፎቶ አያነሣልህም። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው፣ የፊት በሩ እንደ ድልድይ የሚወርደው ሚኖክስ 35 ኢኤልም እንዲሁ ነው። ሮላይ ባትሪ የሚፈልገው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ስለሆነ ያለ ባትሪም ከ1/2 እስከ 1/500 ሰከንድ ድረስ ያነሣል።

ኪሴ ውስጥ

ባትሪ መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የነከሰ ቱቦ ማላቀቅ ግን ይኸው ግማሽ ቀን ፈጅቷል።

ሠላሳ ስድስት

ጠያቂው ሆይ፣ ሁለት ነገር ብቻ ይንገሩን። ካሜራው ውስጥ ፊልም አለ? ካለስ ከታች በኩል ያለው ቆጣሪ ስንት ይላል?

ተጓዥ

ፊልም አለ እንጂ፤ ሳነሣ ነበር እኮ። ቆጣሪው ከ36 በጥቂቱ አለፍ ብሏል። ይህ ሌንሱ ካለመግባቱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን አልገባኝም።

ሠላሳ ስድስት

እንግዲያስ ካሜራዎ አልተበላሸም፤ ፊልምዎ ነው ያለቀው። የመጨረሻውን ፎቶ ሲያነሡ ሸተሩ ተለቀቀ። ቀጥሎ እጀታውን ሲስቡ የፊልሙ ጫፍ ከካርትሬጁ፣ ማለትም ፊልሙ ተጠቅልሎ ከሚመጣበት ትንሽ ቆርቆሮ፣ ጋር የተጣበቀ በመሆኑ ከዚያ በላይ አልመጣም፤ ለዚህ ነው እጀታው መሃል ላይ የቆመው። እጀታው ጉዞውን ስላልጨረሰ ሸተሩ አልተወጠረም፤ ሸተሩ ስላልተወጠረ ደግሞ ጋሼ መካኒክ እንዳሉት ቱቦው ተቆለፈ። ሦስቱም ችግሮች አንድ ናቸው።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። እጀታውን ከእንግዲህ አይግፉት፤ የኋላ ሽፋኑንም በፍጹም አይክፈቱ፤ ያነሡት ሁሉ ይቃጠላል። የመመለሻ መቀየሪያዋን በላቲኑ «አር» ፊደል ወደተመለከተው ቦታ ያዙሯት። ካሜራውን ገልብጠው ከታች ያለችውን ታጣፊ ማዞሪያ ከተኛችበት ያንሡና በቀስታ፣ በቀስቱ አቅጣጫ ያዙሩ። መጀመሪያ ላይ ከበድ ይላል፤ ከዚያ እኩል በሆነ ክብደት ይዞራል፤ መጨረሻ ላይ የፊልሙ ምላስ ፊልሙን ከሚጠቀልለው እንዝርት ሲላቀቅ አንድ ጊዜ ጠበቅ ብሎ ወዲያው ቀለል ሲል በጣትዎ ይሰማዎታል። ከዚያ በኋላ ሽፋኑን ከፍተው ፊልሙን ያውጡ፣ ሽፋኑን ይመልሱ፣ እጀታውን እስከ መጨረሻው ይሳቡት፤ ይሄዳል። ያን ጊዜ ቁልፏን ተጭነው ቱቦውን ያዙሩት፣ ይገባል።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። ሁለት ሦስት ጊዜ በኃይል ገፍቻለሁ ብለዋል። ማዞሪያዋ ገና ከመጀመሪያው ምንም ሳትከብድ በባዶው የምትዞር ከሆነ፣ ፊልሙ ከካርትሬጁ ተቀንጥሷል ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ማዞሩን ያቁሙ፤ ሽፋኑን ፈጽሞ ብርሃን በማይገባበት ጨለማ ውስጥ ብቻ ከፍተው ፊልሙን በእጅዎ ይጠቅልሉና ብርሃን በማያሳልፍ ዕቃ ውስጥ ይክተቱት፤ ለሚያጥብልዎ ሰውም ካርትሬጅ እንደሌለው አስቀድመው ይንገሩት። ቀይ መብራት ቢያበሩስ የሚል ካለ፣ ለዚህ ፊልም ቀይ መብራትም ብርሃን ነው።

ብርሃን ለካ

እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር፤ ቁልፏን ተጭኖ ቱቦውን ማዞር።

ሳቂታው

እውነት ነው፤ የጎደለው በመካከሉ ያለው ብቻ ነበር።

ጥቁር መጋረጃ

ለዚህ ካሜራ ባለቤቶች ሁሉ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። በዚህኛው ዓይነት ባትሪው የተቀመጠው ከኋላ ሽፋኑ ስር ስለሆነ ፊልም ሳለ ሊቀየር አይችልም። ጠያቂው አሁን ሽፋኑን የሚከፍቱ ከሆነ በዚያው ባትሪውን ይመልከቱት፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለበት ያውጡትና መቀመጫውን ያጽዱ። መለኪያው የተሠራው ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነበር። በምትኩ 1.5 ቮልቱን ተራ አልካላይን ቢያስገቡበት መርፌዋ ብርሃኑን ከልክ በላይ አብዝታ ስለምታሳይ ፎቶዎቹ ይጨልማሉ። መስማት ለሚቸገሩ ሰዎች መርጃ መሣሪያ የሚሠሩት ባለ ዚንክ አየር ባትሪዎች ቮልታቸው ወደ ቀድሞው የቀረበ ነው፤ መጠናቸው ስለሚያንስ ግን ዙሪያቸውን የሚሞላ ቀለበት ይፈልጋሉ።

ኪሴ ውስጥ

ጥሩ፣ ይህ ተፈታ እንበል። ነገር ግን ማንም ያልመለሰልኝ ነገር አለ። ሌንሱ የሚገባው ሸተሩ ሲወጠር ብቻ ከሆነ፣ ይህ ካሜራ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ሞላው ተወጥሮ ነው ማለት ነው። ሞላ ተወጥሮ ዓመታት ቢቀመጥ አይደክምም? የሌሎች ካሜራዎች ባለቤቶች ሸተሩን ሳይለቁ አታስቀምጡ ሲባሉ ነው የኖሩት።

አሮጌ መካኒክ

ጥያቄው መልካም ነው፤ ፍርሃቱ ግን ተጋንኗል። የሸተር ሞላ ተለቆ ሳለም ቢሆን ፈጽሞ አያርፍም፤ ሲገጠም ጀምሮ መጠነኛ ውጥረት ተሰጥቶታል፤ እጀታው የሚጨምርበት ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ ነው። ይህን ካሜራ የሠሩት ሰዎች ደግሞ ተወጥሮ እንደሚቀመጥ እያወቁ ነው የሠሩት። በእጄ ካለፉት ውስጥ ፍጥነታቸው የዘገየው ሞላው የደከመው አልነበሩም፤ ቅባቱ እንደ ሙጫ የደረቀባቸው ነበሩ። እነዚያ ደግሞ ተወጥረውም ተለቀውም በመሳቢያ ውስጥ የተረሱት ናቸው። በወር አንድ ጊዜ አውጥተህ በሁሉም ፍጥነት ባዶውን አስጩኸው፤ ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ተጓዥ

የምጽፈው በስልክ ነው። መቀየሪያዋን አገኘኋት፤ እስከ ዛሬ ጌጥ ትመስለኝ ነበር። ማዞሪያዋ መጀመሪያ ላይ ከብዳኝ ነበር፣ አሁን እኩል እየዞረች ነው፤ አልተቀነጠሰም ማለት ይመስለኛል። ስጨርስ ተመልሼ እጽፋለሁ። ስለ ካሜራው የተናገርኩትን ለጊዜው አንሥቻለሁ፤ ሌንሱ ሲገባ ሙሉ በሙሉ አነሣለሁ።

ሳቂታው

ሲመለሱ ሌላ ምሥጢር እንነግርዎታለን፦ የፍላሹ መግጠሚያ ያለው ከታች ነው። ፍላሽ ገጥመው እንደ ወትሮው ቢይዙት ጥላው ወደ ላይ ይወጣና ሰዉ ሁሉ የሙት መንፈስ ይመስላል። ካሜራውን ገልብጠው ያንሡ፤ የሚያይዎት ይስቃል፣ ፎቶው ግን ያምራል።

አዲስ ገቢ

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ጥያቄ ስላለኝ እዚሁ ልጻፍ። የእኔም ያው ሮላይ 35 ነው፤ ፊልም ግን የለበትም። እጀታው እስከ መጨረሻው ይሄዳል፣ ቁልፏን ስጫን ቱቦው ይዞራል፣ ወደ ውስጥ ስገፋው ግን ግማሽ ድረስ ገብቶ ይቆማል። ተጓዥ፣ የእርስዎስ በመጨረሻ ገባ?

ሠላሳ ስድስት

ተጓዥ እስካሁን አልተመለሱም። የእርስዎ ችግር ግን ከእርሳቸው የተለየ ነው፤ ቱቦው ከዞረ መቆለፊያው ተለቋል ማለት ነውና ስለ ፊልሙም ስለ ሸተሩም አይጨነቁ። ካሜራውን ወደ መስኮት አዙረው ቱቦውን ከጎን ይመልከቱት፤ ወድቆ ከሆነ ጠርዙ ላይ ትንሽ መጠምዘዝ ወይም በአንድ ወገን ብቻ የተፋቀ መስመር ያገኛሉ። ካገኙ በእጅዎ ሊያቃኑት አይሞክሩ፤ ሌንሱ ወጥቶ እንዳለ ለጠጋኝ ይውሰዱት። ቱቦው ቀጥ ያለ ሆኖ የቆሸሸ ብቻ ከሆነ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ዙሪያውን ይጥረጉት፣ እስከ መጨረሻው መዞሩንም ያረጋግጡ፤ ጥቂት ሳይዞር ከቀረ እርስዎ እንዳሉት መንገድ ላይ ይቆማል።